ከአዲስ አበባ ለሚመጡ ሦስት ልጆች የአንድ ቀን የጎንደር ጉብኝት እንዴት ላዘጋጅ?

አጎት ከአዘዞ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። የእኅቴ ልጆች በነሐሴ የመጀመሪያ ሳምንት ከአዲስ አበባ ወደ ጎንደር ይመጣሉ። ታላቂቱ 17 ዓመቷ ነው፤ ተከታዩ ወንድ ልጅ 15፣ የመጨረሻዋ ደግሞ 13 ዓመታቸው ነው። ሦስቱም ጎንደርን አይተዋት አያውቁም። ቆይታቸው አጭር ከመሆኑም በላይ አብዛኛው ጊዜ ዘመድ በመጠየቅ ስለሚያልፍ፣ ከተማዋን ለማየት የሚተርፈው አንድ ሙሉ ቀን ብቻ ነው፤ ያንን ቀን ደግሞ የእናታቸውን የትውልድ ከተማ ወድደው የሚመለሱበት እንዲሆን ከልቤ እፈልጋለሁ።

የሚያሳስበኝ ዕድሜያቸው ነው። እንደ ሕፃን እጃቸውን ይዤ የማዞራቸው አይደሉም፤ እንደ ትልቅ ሰው ደግሞ ስለ ነገሥታት የዘር ሐረግ የሚነገረውን ሁሉ ቆመው እንዲሰሙ መጠበቅ ይከብዳል። ታላቂቱ ሥዕል ትወዳለች፤ የወንዱ ሐሳብ ሁሉ እግር ኳስ ላይ ነው፤ ትንሿ ያየችውን ሁሉ ትጠይቃለች፤ ነገር ግን ቶሎ ይደክማታል።

ያሰብሁት ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ ፋሲል ግቢን፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴን፣ የፋሲል መዋኛን፣ ቁስቋምንና ወለቃን አሳይቻቸው፣ ምሽት ላይ ከጎሃ ኮረብታ ሆነን ከተማዋን ቁልቁል እንድናይ ነው። ባለቤቴ ግን ይህ ሁሉ ለአንድ ቀን ይበዛል ትላለች። የትኛውን ብተው ይሻላል? ከየትስ ልጀምር? አስጎብኚ መቅጠር ይበጃል ወይስ እኔው ልንገራቸው?

የታሪክ መምህር

ወንድሜ፣ ባለቤትዎ እውነታቸውን ነው። ስድስት ቦታ በአንድ ቀን ከተደረደረ፣ ልጆቹ ባጃጅ ላይ መውጣትና መውረድን እንጂ ጎንደርን አያዩም።

እንደ እኔ ሐሳብ የቀኑ ዋና ነገር ፋሲል ግቢ ይሁን፤ ጠዋቱንም በሙሉ ለእርሱ ይስጡት። ግቢው 70,000 ካሬ ሜትር ገደማ በሚሆን ቦታ ላይ ያረፈ፣ ዙሪያውም 900 ሜትር ገደማ በሚረዝም የድንጋይ አጥር የታጠረ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ጥድፊያ ላይ ያለ ጎብኚ 32 ሜትር ከፍታ ያለውን የአፄ ፋሲልን ግንብ አይቶ፣ ፎቶ ተነሥቶ ይወጣል። ልጆችን ሊይዝ የሚችለው ግን አንዱ ሕንፃ ሳይሆን የሕንፃዎቹ ተከታታይነት ነው። አፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1636 ከተማዋን ከቆረቆሩ በኋላ ልጃቸው ቀዳማዊ ዮሐንስ የአባታቸውን ቤት ወርሰው ብቻ አልተቀመጡም፤ ቤተ መጻሕፍትና ጽሕፈት ቤት አሠሩ። የልጅ ልጃቸው ቀዳማዊ ኢያሱ ደግሞ የራሳቸውን ግንብ አቆሙ። ከእርሳቸው በኋላ አፄ ዳዊት የዘፈን አዳራሽ፣ አፄ በካፋ የግብር አዳራሽ፣ እቴጌ ምንትዋብም የራሳቸውን ቤተ መንግሥት ጨመሩበት። ስለዚህ ከአንዱ ግንብ ወደ ሌላው የሚራመድ ልጅ ከአባት ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ እየተሻገረ የአንድ መቶ ዓመት ያህል ታሪክ በእግሩ ያልፋል ማለት ነው። ይህን ከገቡ ጊዜ ጀምሮ ቢነግሯቸው፣ ቀጥሎ የሚያዩት የማን እንደሆነ ራሳቸው መጠየቅ ይጀምራሉ።

ከዓመተ ምሕረት ይልቅ ሰዎቹን ይንገሯቸው። አፄ በካፋ ማንነታቸውን ሰውረው በሕዝቡ መካከል እየተዘዋወሩ ኑሮውን ይመለከቱ እንደነበር የሚተረከውን የማይወድ ልጅ አላጋጠመኝም። ዳግማዊ ኢያሱ እ.ኤ.አ. በ1730 ሲነግሡ ገና ሕፃን ስለነበሩ፣ መንግሥቱን ያስተዳድሩ የነበሩት እናታቸው ምንትዋብ መሆናቸውን ደግሞ ለታላቂቱ ልጅ በተለይ ይንገሩልኝ፤ የእቴጌይቱ ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት ቆማ ብትሰማው ከመጽሐፍ ከምታነበው ይበልጥ ይገባታል።

ከቀዳማዊ ኢያሱ ግንብ ሲደርሱ ግን ወዲያው አይናገሩ። የፋሲል ግንብ ጸንቶ ቆሞ ሳለ ይህኛው ለምን ፈረሰ ብለው ይጠይቋቸውና ዞረው ይመርምሩ፣ ይገምቱ። መልሱ ሁለት ነው፤ አንዱ እ.ኤ.አ. በ1704 የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ፣ ሁለተኛው በ1941 ጣሊያኖች ጎንደርን የመጨረሻ ምሽጋቸው አድርገው በያዙበት ጊዜ ከእንግሊዝ አውሮፕላኖች የወረደው ቦምብ ነው። ከዚህ ተነሥተው ጦርነት ቅርስን ምን እንደሚያደርገው ከ15 ዓመት ልጅ ጋር በቁም ነገር መነጋገር ይቻላል፤ እኔ ከተማሪዎቼ ጋር የማደርገው ይህንኑ ነው።

እናት ከአራዳ

በመምህሩ ምክር ላይ አንድ ነገር ላስተካክል። የሚመጡት ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ከሆነ ፍልሰታ ነው። በጾሙ ቅዳሴ የሚገባው ቀትር ላይ ስለሆነ፣ ሥላሴን ከሰዓት በኋላ እናያለን ብትሉ ለጉብኝት መግባት አትችሉም፤ በቅዳሴ ሰዓት ጣሪያ እያዩ መዞርም ተገቢ አይደለም። ስለዚህ ሥላሴ ከሁሉ ይቅደም። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ገደማ ብትደርሱ ግቢው ጸጥ ያለ ነው፤ ከዚያ ወደ ፋሲል ግቢ መውረድ በባጃጅ ጥቂት ደቂቃ ነው።

ሥላሴን ከዕቅዱ እንዳያወጡት እለምንዎታለሁ፤ ሥዕል ለምትወድ ልጅ በጎንደር ከዚህ የሚበልጥ ቦታ የለም። ጣሪያውን የሞሉት የመላእክት ፊቶች ከሩቅ አንድ ዓይነት ይመስላሉ፤ ቀስ ብሎ ላስተዋላቸው ግን አስተያየታቸው ይለያያል። የውስጡ ብርሃን ደብዘዝ ያለ ስለሆነ ዓይናቸው እስኪለምድ ድረስ አይቸኩሉ። የካሜራ ፍላሽ አይፈቀድም። ደርቡሾች በ1880 ዓ.ም. ጎንደርን ሲያቃጥሉ የሥላሴ ንቦች ወጥተው እንዳባረሯቸው አባቶች የሚናገሩትን እዚያው ቆመው ይንገሯቸው። ለትንሿ ደግሞ ሥራ ይስጧት፤ በአጥሩ ላይ ያሉት አሥራ ሁለቱ ግንቦች የሐዋርያት፣ መግቢያው ደግሞ የይሁዳ አንበሳ ምሳሌ ነው ስለሚባል፣ የአንበሳውን ጅራት ፈልጋ ታግኝ።

ሌላው የምግብ ነገር ነው። ልጆቹ ፍልሰታን ይጾሙ እንደሆነና እስከ ስንት ሰዓት እንደሚቆዩ እናታቸውን አስቀድመው ይጠይቁ። በአዲስ አበባ የለመዱትን ዘመድ ቤት መጥተው ለመናገር የሚያፍሩ ልጆች አሉ። እስከ 9 ሰዓት የሚቆዩ ከሆነ ጠዋቱን በእግር ጉዞ ማድከም አይገባም፤ ከሥላሴ ወደ ግቢው በእግር መውረዱ ይቅርና በባጃጅ ሂዱ፣ በግቢው ውስጥም ጥላ እየፈለጋችሁ ተቀመጡ። የማይቆዩ ከሆነ ደግሞ ከግቢው ስትወጡ ፒያሳ አካባቢ የጾም በያይነቱና ትኩስ ሽሮ አይጠፋም፤ ብርዝ ካገኛችሁም አስቀምሷቸው።

ለሴቶቹ ነጠላ፣ ለሁሉም ወፍራም ሹራብ፣ የዝናብ ልብስና የማያንሸራትት ጫማ ያስፈልጋል። ከአዲስ አበባ ስለሚመጡ ክረምቱ እንግዳ ባይሆንባቸውም፣ የግንቦቹ ደረጃ በዝናብ ጊዜ እጅግ ያንሸራትታል። ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ ጫማ ስለሚወልቅ ደረቅ ካልሲ በቦርሳ መያዝም ብልህነት ነው።

አጎት ከአዘዞ (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የፍልሰታውን ነገር በዚህ መልክ አላሰብሁትም ነበር፤ ዛሬውኑ ለእኅቴ እደውላለሁ። ወለቃን ትቼዋለሁ። ከሰዓት በኋላ ግን ከቁስቋምና ከፋሲል መዋኛ የትኛው ይሻላል?

አስጎብኚ ከፒያሳ

በሥራዬ ከትምህርት ቤት ተማሪዎች ጋር ስለምውል የማውቀውን ልናገር። ቁስቋም ለእኔ ከጎንደር ሁሉ የምወደው ቦታ ነው። የእቴጌ ምንትዋብ ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ፣ ከከተማው ጫጫታ ራቅ ማለቱ፣ በዚያም የሚገኘው የእርሳቸው፣ የልጃቸውና የልጅ ልጃቸው አፅም ታሪኩን ለሚያውቅ ሰው ልብ ይነካል። ነገር ግን አቀበት ነው፤ በክረምት ጭቃው ይከብዳል፤ አፅም ማየትም ለ13 ዓመት ልጅ ሊከብዳት ይችላል። ጠዋት ስለ ምንትዋብ የሰማችው ታላቂቱ ልጅ ራሷ ልሂድ ካለች ይሂዱ፤ አለበለዚያ መዋኛው ይመረጥ።

በመዋኛው አንድ ጥንቃቄ አለ። ልጆች በቴሌቪዥን ያዩት ጥር 11 ቀን በውኃ ተሞልቶ፣ ወጣቶች እየዘለሉ ሲገቡበት ነው። ገንዳው የሚሞላው ከቀሐ ወንዝ በሚመጣ ቦይ ለጥምቀት ስለሆነ፣ በነሐሴ ያንን ጠብቀው ከመጡ ቅር ይላቸዋል። እኔ የማደርገው ይህ ነው፤ ከመግባታችን በፊት የጥምቀትን ቪዲዮ በስልካቸው እንዲያዩ አደርግና፣ ከዚያ ቪዲዮው የተቀረፀበትን ማዕዘን ራሳቸው ፈልገው እንዲያገኙት እጠይቃቸዋለሁ። ስልክ እንዳይነኩ ከመከልከል ይህ በጣም ይሻላል። በድንጋዩ አጥር ላይ ተጠምጥመው የወረዱት የዛፍ ሥሮች ደግሞ ለሥዕልም ለፎቶም የሚመቹ ናቸው፤ በአቅራቢያው ያለውና የንጉሥ ፈረስ የዞብል መቃብር ነው የሚባለው ባለ ጉልላት ሕንፃም አያምልጣችሁ። የፋሲል ግቢ ትኬት ለመዋኛውም ስለሚያገለግል እንዳትጥሉት።

መምህሩ ጠዋቱን በሙሉ ለግቢው ስጡ ማለታቸውን ብደግፍም፣ በመካከሉ ዕረፍት ይኑር። እኔ አንበሶች ይጠበቁበት ወደነበረው ቤት ስንደርስ ገለጻዬን አቆማለሁ፤ ልጆቹ ተቀምጠው ውኃ ይጠጣሉ፣ የፈለጉትን ያወራሉ። አስጎብኚ መቅጠርን በተመለከተ፣ ፈቃድ ያላቸውን በመግቢያው አካባቢ ያገኛሉ። ዋጋውን አስቀድመው ይነጋገሩ፤ የልጆቹን ዕድሜና ዝንባሌም ይንገሩት። ታሪኩን አስጎብኚው ይናገር፤ እርስዎ ደግሞ እናታቸው በልጅነቷ የት ትጫወት እንደነበረ፣ የት እንደተማረች ያሳዩአቸው። ያንን ማንኛችንም ልንነግራቸው አንችልም።

የቀሐ ልጅ

ጋሼ፣ እኔ 19 ዓመቴ ነው፤ በቅርቡ የእነርሱ ዕድሜ ላይ ስለነበርሁ አንድ ሐሳብ ልጨምር። የአጎቶቼ ልጆች ከሌላ ከተማ ሲመጡ ይበልጥ የሚደሰቱት አንዱን ነገር ራሳቸው ሲመርጡ ነው። ሥላሴንና ፋሲል ግቢን እርስዎ ይወስኑ፤ የከሰዓት በኋላውን ግን አማራጮቹን ከመምጣታቸው በፊት በቴሌግራም ይላኩላቸውና ሦስቱ ተነጋግረው ይምረጡ። ራሱ በመረጠው ቦታ ላይ ደከመኝ የሚል ሰው ጥቂት ነው።

ለወንዱ ልጅ ደግሞ ፋሲል ከነማን አይርሱት። በ2013 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ያነሣው ክለብ ዐፄዎቹ ተብሎ የሚጠራው በእነዚሁ ነገሥታት ምክንያት መሆኑን ጠዋት በግቢው ውስጥ ቢነግሩት፣ ግንቡን የሚያይበት ዓይን ይለወጣል። የክለቡን ማሊያ ገዝተውለት በግንቡ ፊት ፎቶ ቢነሣ ለጓደኞቹ የሚልከው የመጀመሪያው ፎቶ እርሱ እንደሚሆን አልጠራጠርም።

ከተቻለም፣ ታላላቆቹ ሁለቱ ፒያሳ ላይ አንድ ሰዓት ያህል ያለ ትልቅ ሰው ይዘዋወሩ። ጣሊያን የሠራቸውን የድሮ ሕንፃዎች እያዩ፣ ሻይ ጠጥተው ይመለሳሉ። ከተማን የሚለምዱት ብቻቸውን ሲሄዱበት ነው።

አጎት ከአዘዞ (ጠያቂ)

የማሊያውን ሐሳብ ወድጄዋለሁ፤ ምርጫውንም ለእነርሱ እተወዋለሁ። ብቻቸውን መልቀቁ ግን ያሰጋኛል፤ የሰው ልጆች በአደራ ተሰጥተውኝ አንድ ነገር ቢሆኑ ለእናታቸው ምን እላለሁ? እናንት ወላጆች የሆናችሁ ምን ትላላችሁ?

እናት ከአራዳ

ስጋትዎ ተገቢ ነው፤ ልጁ ያለውም እውነት አለው። በመጀመሪያ እናታቸውን ያስፈቅዱ፤ እርሷ ካልፈቀደች ነገሩ በዚያው ያበቃል። ከፈቀደች ጊዜው ገና ብርሃን ሳለ፣ ከመዋኛው መልስ ከ10 ሰዓት በፊት ይሁን፤ ሁለቱ እንዳይለያዩ ቃል ይግቡ፤ የእርስዎና የባለቤትዎ ስልክ ቁጥር በስልካቸው ብቻ ሳይሆን በወረቀት ተጽፎ ኪሳቸው ውስጥ ይኑር። የመገናኛ ቦታው ጃን ተከል ዋርካ ይሁን፤ የጠፋበት ሰው ማንንም ቢጠይቅ ያሳየዋል። እርስዎ በዚያው ሰዓት ከትንሿ ጋር ዋርካው አካባቢ ሻይ ይጠጡ፤ እርሷም እግሯን ታሳርፋለች። ዝናብ ከመጣ ግን ይህን ትታችሁ በፒያሳ አቅራቢያ ወዳለው ራስ ግንብ ሙዚየም አብራችሁ ግቡ፤ ጎሃም የሚወጣው ሰማዩ ከተገለጠ ብቻ ነው።