በጀርባው የተኛ ሕፃን ሲያቀረሽ ይታነቃል?

የአራስ እናት፣ ሜሪላንድ፦
ልጄ ሰባት ሳምንት ሆኖታል። ሊያርሱኝ ከአዲስ አበባ የመጡት አማቴ በጀርባው ከተኛ ያቀረሸው ወተት ያንቀዋል ብለው ስለሚሠጉ ጠብቶ ካገሳ በኋላ በሆዱ ያስተኙታል። ሐኪሙ ግን በጀርባው ብቻ ብሎናል። ትናንት ሌሊት በጋቢ ተሸፍኖ፣ ፊቱ ትራሱ ውስጥ ገብቶ አገኘሁትና ክው አልኩ። ስድስት ልጆች ያሳደጉ ሰው ስለሆኑ መከራከር ከብዶኛል። ሥጋታቸው መሠረት አለው?

አዋላጅ ነርስ፦
እንኳን ማርያም ማረችሽ። ብዙ እናቶች እንደዚያው ያስባሉ፤ የሰውነት አሠራር ግን ተቃራኒውን ያሳያል። ሕፃን በጀርባው ሲተኛ የአየር ቧንቧው ከምግብ ቧንቧው በላይ ስለሚውል፣ የተመለሰው ወተት ወደ አየር ቧንቧው ለመግባት ሽቅብ መውጣት ይኖርበታል፤ በሆዱ ሲተኛ ግን ቁልቁል ይፈስለታል። በጎን ማስተኛትም አያዋጣም፣ በቀላሉ ወደ ሆዱ ይደፋል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1992 የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር ሕፃናት በሆዳቸው እንዳይተኙ ከመከረና በ1994 ለወላጆች ሰፊ ዘመቻ ከተጀመረ በኋላ፣ በእንቅልፍ ላይ ሳሉ ድንገት የሚሞቱ ሕፃናት በዓመታት ውስጥ በግማሽ ገደማ ቀንሰዋል፤ በትውከት ታንቀው የሚሞቱትም አልጨመሩም። አደጋው የሚበረታው ከ1 እስከ 4 ወር ባለው ዕድሜ ስለሆነ ትራሱንና ጋቢውን ዛሬውኑ አንሺ።

የሁለት ልጆች አባት፦
እኛ እናቴን ወደ ቀጠሮው ይዘናት ሄድን። ሐኪሟ ሁለቱን ቧንቧዎች በእስክሪብቶ ሥላ ስታሳያት፣ እኛ ለሳምንታት ያልቻልነው በአምስት ደቂቃ አለቀ። አልጋው ላይ ጠንከር ያለ ጠፍጣፋ ፍራሽና የተወጠረ አንሶላ ብቻ ቀረ፤ እናቴ «የእስረኛ አልጋ አደረጋችሁት» ብላ ማጉረምረሟ ግን አልቀረም። ብርድ እንዳይነካው ከልብሱ ላይ የሚጠለቅ፣ እጅጌ የሌለው የመኝታ ከረጢት ገዛንለት። አልጋውንም ከእኛ አልጋ አጠገብ አደረግነው፤ ቢቻል እስከ 6 ወር እንዲህ እንዲሆን ይመከራል።

የአራስ እናት፦
እግዜር ይስጥልኝ። ሥዕሉን እኔው ሞክሬ አሳየኋቸው፤ ዝም ብለው አይተው ጋቢውን ራሳቸው ደረቡት። አሁን የሚያሳስባቸው ጭንቅላቱ እንዳይጠፈጠፍ ነው። ደግሞስ መገላበጥ ሲጀምር ምን እናደርጋለን?

አዋላጅ ነርስ፦
ለጭንቅላቱ፣ ነቅቶ ሳለ አጠገቡ ሆነው በሆዱ ያጫውቱት፤ አንገቱንም ያጠነክርለታል። መገላበጥ የመጀመር ምልክት ሲያሳይ በጨርቅ መጠቅለሉን አቁሙ። ሁልጊዜ በጀርባው አስተኙት፤ ከጀርባ ወደ ሆድ፣ ከሆድም ወደ ጀርባ በራሱ መዞር ከቻለ ግን ሌሊት እየተነሣችሁ መመለስ አይጠበቅባችሁም።