ለሶላር ተብሎ ግራቪሊያውና አቮካዶው ይቆረጡ?

ጠያቂ፣ አዲስ አበባ
ቆርቆሮ ጣሪያችን ላይ ባለ 450 ዋት 6 ፓኔል ልናስገጥም ነው። ሁሉም በአንድ መስመር ተቀጣጥለው ወደ ሃይብሪድ ኢንቨርተር (የፓኔሉን፣ የባትሪውንና የመስመሩን ኤሌክትሪክ አንድ ላይ የሚያስተናግድ መሣሪያ) ይገባሉ፤ ባትሪው የ5 ኪሎዋት ሰዓት ሊቲየም ነው። ከቤቱ በስተምዕራብ 6 ሜትር ላይ 12 ሜትር የሚሆን ግራቪሊያ፣ በስተደቡብ 4 ሜትር ላይ 7 ሜትር የሚሆን አቮካዶ አለ። ጣሪያው ከመሬት 4 ሜትር ይሆናል። የእኛ ገጣሚ ሁለቱንም ቁረጡ ይላል። ግራቪሊያው ግን ከሰዓት በኋላ መኝታ ቤቱን ያበርድልናል፣ አቮካዶውም እያፈራ ነው። ምን ትላላችሁ?

ሶላር ገጣሚ
አቮካዶውን አትንኩት። የሚቆጠረው ዛፉ ከፓኔሉ በላይ ያለው ከፍታ ብቻ ነው፤ የእናንተ አቮካዶ 3 ሜትር ነው የሚበልጠው። አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ ወደ ደቡብ በጣም የምታዘነብለው ታኅሣሥ 12 ገደማ ነው፤ ያኔም በቀትር ጥላው የከፍታውን 0.64 እጥፍ ያህል ነው። ይህ 2 ሜትር አይሞላም፣ ጣሪያው ጋ አይደርስም። ከ7 ሜትር በላይ እንዳያድግ ብቻ በየዓመቱ ይከርከም። (ዛፉ በሰሜን ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይበልጥ ይቀል ነበር፤ ፀሐይ በሰሜን የምትሆነው ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ነው፤ ከዚያ ውስጥ ብዙው ደመናማው ክረምት ነው።)

ግራቪሊያው 8 ሜትር ይበልጣል። በበጋ ጥላው ጣሪያውን መንካት የሚጀምረው ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ነው፤ ቅርንጫፉ ወደ ቤቱ ከተዘረጋ ቀደም ይላል። ፀሐይ ጠንከር የምትለው ከ3 እስከ 9 ሰዓት ስለሆነ ዋናው ምርት አይነካም፤ በጠራ ቀን ባትሪውም ከዚያ በፊት ይሞላል። ስለዚህ ለእኔ ይህ የክርከማ እንጂ የመጋዝ ጉዳይ አይደለም።

ኤሌክትሪሻን
በዚህ እስማማለሁ፤ ግን የቮልቴጁን ነገር እዩት። አንድ ፓኔል ወደ 41 ቮልት ቢሰጥ ስድስቱ 246 ይሆናሉ። «አንዱ ከተጋረደ ሁሉም ይሞታል» የሚባለው ትክክል አይደለም፤ ባይፓስ ዳዮዶቹ (በፓኔሉ ሦስት ክፍሎች ላይ ያሉ የኤሌክትሪክ ማለፊያዎች) የተጋረደውን ክፍል ያልፉታል፣ ሌሎቹ ይቀጥላሉ። ችግሩ ሦስት ፓኔል ሲጋረድ ነው፤ የሚቀረው 123 ቮልት ነው። ብዙ ሃይብሪድ ኢንቨርተር ከ120 ቮልት በታች ከፓኔል መቀበል ያቆማል፣ 123 ደግሞ ጫፉ ላይ ነው፤ ትክክለኛው ቁጥር የኢንቨርተሩ ታርጋ ላይ ተጽፏል። ስለዚህ ፓኔሎቹን ወደ ምሥራቁ ጫፍ አስጠጉ።

አቀማመጡም ለውጥ ያመጣል። ጥላው ከምዕራብ ስለሚገባ የፓኔሉ ረጅም ጎን ከሰሜን ወደ ደቡብ ይሁን፤ ያኔ ጥላው በአንድ ጊዜ የሚወስደው የፓኔሉን አንድ ሦስተኛ ብቻ ነው፣ ቀስ እያለ። አግድም ከተኛ ግን ሦስቱንም ክፍል አንድ ላይ ይነካል። በኢንቨርተሩ ሜኑ ውስጥ የጥላ ፍተሻ ምርጫ ካለ ይከፈት፤ ካልተከፈተ አንዳንዱ ዝቅተኛ ነጥብ ላይ ተጣብቆ ይቀራል።

የአትክልት ባለሙያ
ግራቪሊያ ክርከማ የሚችል ዛፍ ነው፤ ጫፉ ቢቆረጥም መልሶ ያቆጠቁጣል። ወደ ቤቱ የተዘረጋውን ቅርንጫፍ በበጋ በሦስት ጊዜ ቁረጡት፦ መጀመሪያ ከግንዱ 30 ሳንቲሜትር ርቆ ከሥር እስከ ውፍረቱ ሲሶ፣ ከዚያ ትንሽ ወጣ ብሎ ከላይ እስኪወድቅ፣ በመጨረሻ የቀረውን ጉቶ፣ ቅርንጫፉ ከግንዱ ከሚገናኝበት እብጠት ውጭ። በአንድ ጊዜ ከላይ ከቆረጣችሁት ቅርንጫፉ ሲወድቅ የግንዱን ልጣጭ ይዞ ይገነጠላል፣ በቁስሉም ብስባሽ ይገባል።

ሙሉ በሙሉ ለመቁረጥ ከወሰናችሁ ግን አፈሩን እዩ። ጥቁር ኮትቻ ከሆነ፣ ዛፉ ሲመጠው የኖረው ውሃ አፈሩ ውስጥ ይቀርና በክረምት ያብጣል፤ መሠረቱና ግድግዳው ሊሰነጠቅ ይችላል። የወረዳውን ፈቃድም አስቀድማችሁ ጠይቁ። ቅርንጫፉ ከመንገድ የመብራት ገመድ አጠገብ ካለ ራሳችሁ አትንኩት፣ ለመብራት ኃይል አመልክቱ።

ጠያቂ
እናመሰግናለን። የዛፉን ከፍታ በዓይን ነው የገመትነው፤ በትክክል እንዴት ይለካል?

ሶላር ገጣሚ
ጠዋት ላይ 1 ሜትር ዱላ ደልዳላ መሬት ላይ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙ፤ የዱላውንና የዛፉን ጥላ እኩል ሰዓት ላይ ለኩ። የዛፉን ጥላ ለዱላው ጥላ አካፍሉት፤ የዱላው 0.8፣ የዛፉ 9.6 ሜትር ቢሆን ዛፉ 12 ሜትር ነው። የዛፉን ጥላ ከግንዱ መሃል ጀምሩ። ከዚያ ፓኔሉ ከመታሰሩ በፊት በ8፣ በ9 እና በ10 ሰዓት የጥላውን ጠርዝ ቆርቆሮው ላይ በኖራ ምልክት አድርጉ፤ ፓኔሉ የሚታሰርበት ብረት የሚጀምርበትን ቦታ በዚያ ወስኑ።