አንድ የዕረፍት ቀን ብቻ አለኝ፦ የአቡ ዳቢን ፎርሙላ ዋን በየትኛው ቀን ብንሄድ ይሻላል?

ጥያቄ (የዴይራዋ)

ጤና ይስጥልኝ። ዱባይ፣ ዴይራ ውስጥ በአንድ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል እሠራለሁ። ታናሽ ወንድሜ 19 ዓመቱ ነው፤ ፎርሙላ ዋን የሚባለውን የመኪና እሽቅድምድም በስልክ እያየ ያደገ፣ አሽከርካሪው ሉዊስ ሃሚልተን በተሸነፈ ቁጥር እራት የማይበላ ልጅ ነው። ትምህርትህን በጥሩ ውጤት ከጨረስክ አቡ ዳቢ ወስጄ አሳይሃለሁ ብዬ ቃል ገብቼለት ነበር። ጨረሰ። አሁን ዕዳው የእኔ ነው።

ችግሬ ይህ ነው። ዝግጅቱ ዓርብ፣ ቅዳሜና እሑድ ነው፤ እኔ የማገኘው ግን አንድ የዕረፍት ቀን ብቻ ነው። ቀኑን መምረጥ እችላለሁ፣ መጨመር አልችልም። ለሁለት ሰው የሦስት ቀን ትኬት መግዛትም ከአቅሜ በላይ ነው። የትኛው ቀን ይሻላል? የትስ እንቀመጥ? መኪና የለንም፤ እንዴት ሄደን እንዴት እንመለሳለን? በዚያ ላይ ጊዜው የነቢያት ጾም ነው፣ ሁለታችንም እንጾማለን።

ስለ እሽቅድምድም የማውቀው ነገር ስለሌለ ለሕፃን እንደምታስረዱ አድርጋችሁ ንገሩኝ።

መልስ (ዘጠነኛው መታጠፊያ)

እህቴ፣ ብዙ ሰው እሑድ ይልሻል። እኔም በመጨረሻ የምልሽ እሑድ ነው፤ ግን ምክንያቱን ዐውቀሽ ሂጂ።

ዓርብ ልምምድ ነው። ሁለት ጊዜ፣ ለአንድ አንድ ሰዓት ይወጣሉ። የመጀመሪያው በጠራራ ፀሐይ ስለሆነ ብዙ ቡድኖች ወጣት አሽከርካሪዎችን ይሞክሩበታል፤ ሃሚልተንን ሊያይ የሄደ ሰው መኪናው ውስጥ ሌላ ልጅ ተቀምጦ ሊያገኝ ይችላል። ሁለተኛው ልምምድ ግን የሚጀምረው የእሑዱ ውድድር በሚጀምርበት ሰዓት ነው፤ አስፋልቱም እንደ እሑዱ እየቀዘቀዘ ይሄዳል። ስለዚህ ቡድኖቹ የምራቸውን የሚሠሩት ያኔ ነው። ቅዳሜ የመነሻ ቦታ የሚለይበት ማጣሪያ አለ፤ ነዳጅ ቀንሰው፣ አዲስ ጎማ አጥልቀው፣ እያንዳንዱ ያለ የሌለ ኃይሉን ለአንድ ዙር ያወጣል። ፍጥነት ብቻ ለማየት ከሆነ ከቅዳሜ የሚበልጥ ቀን የለም። እሑድ 58 ዙር ነው። አንዱ ዙር 5.281 ኪሎ ሜትር ስለሆነ በጠቅላላው 306 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ በፊታችሁ በየአንድ ደቂቃ ተኩሉ ያልፋሉ።

ወደ መቀመጫው ልምጣ። ዋናው ትሪቡን ከፒቱ፣ ማለትም መኪኖቹ ጎማ ለመቀየር ከሚቆሙበት ቦታ፣ ፊት ለፊት ነው፤ መነሻውንና የጎማ ቅየራውን ያሳያል፣ ዋጋውም እንደ ቦታው ነው። የአዲስ አበባ ስታዲየምን ካወቅሽ ጥላ ፎቅ በይው። ሚስማር ተራው ደግሞ አቡ ዳቢ ሂል የሚሉት ሣር የለበሰ ጉብታ ነው፤ የወንበር ቁጥር የለውም፣ ቀድሞ የደረሰ የተሻለውን ይይዛል። እኔ ግን የምፈልገው ሲቀዳደሙ ማየት ነው። መኪና መኪናን የሚቀድመው ረጅሙ ቀጥታ መንገድ አልቆ ፍሬን የሚያዝበት ቦታ ላይ ነው። ውድድሩ የሚካሄድበት ያስ ማሪና የሚባለው መንገድ ላይ እንዲህ ያሉ ሁለት ቀጥታዎች አሉ፤ አንዱ ስድስተኛው መታጠፊያ ላይ፣ ሌላው ዘጠነኛው ላይ ያልቃል። የመቀመጫውን ካርታ ስታዪ እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ፈልጊ፤ ከተገኘ ከፍ ያለውን ረድፍ ውሰዱ፣ ታች ያለው አጥር ነው የሚያየው።

ቀድሞ እዚያ መቅደም ጣር ነበር። ወንድምሽ ይነግርሻል፦ በ2010 አሽከርካሪው ፈርናንዶ አሎንሶ ከቪታሊ ፔትሮቭ መኪና ኋላ ተቀርቅሮ ሻምፒዮናውን ለሴባስቲያን ፌተል አስረክቧል። በ2021 መንገዱን አሻሽለው 21 የነበሩትን መታጠፊያዎች 16 አደረጓቸው። ስሜን የወሰድኩበት ዘጠነኛውም ያኔ የተሠራ፣ ወደ ውስጥ ያዘነበለ ሰፊ ኩርባ ነው።

መልስ (ሶፋዬ ላይ)

እኔ በአካል አይቻለሁ፤ ያውም በ2021። ሃሚልተንና ማክስ ቨርስታፐን እኩል 369.5 ነጥብ ይዘው የገቡበት ዕለት ነው። የተቀመጥኩት በወደቡ በኩል ነበር። አደጋ ሲኖር ከፊት ሆና ሁሉንም የምታዘገየው የደኅንነት መኪና ወጥታ ስትመለስ፣ በመጨረሻው ዙር ቨርስታፐን ሃሚልተንን የቀደመው አምስተኛው መታጠፊያ ላይ ነው። እኔ ያየሁት የቆመ ጀልባና የጎረቤቴን ጀርባ ነው። ከሩቅ ጩኸት ሰማሁ። ምን እንደሆነ የነገረኝ ከአዲስ አበባ የደወለ የአክስቴ ልጅ ነው፤ እሱ በቴሌቪዥን አይቷል። ይኸውና እስከ ዛሬ "እዚያ ነበርኩ" እያልኩ አወራለሁ።

ገንዘቡን ለልጁ ላፕቶፕ ግዢለት።

መልስ (ዘጠነኛው መታጠፊያ)

ወንድሜ፣ ትልልቅ ስክሪኖች ተተክለዋል፤ ስክሪን የማይታይበት ቦታ ተቀምጠህ ውድድሩን አትውቀስ። ይህን ግን እህታችንም ልብ ትበለው፦ ካርታው ላይ መታጠፊያውን ብቻ ሳይሆን ስክሪኑ በየት በኩል እንደሚሆን መጠየቅ ያስፈልጋል።

ላፕቶፑም ቢሆን የማያሳየው ነገር አለ። ጀንበር ስትጠልቅ ፍሬን ሲይዙ የጎማው ውስጥ ዲስክ እንደ ፍም ይቀላል። ያንን በቅርብ ያየ ልጅ አይረሳውም።

መልስ (ሹፌር ከሙሳፋ)

እህቴ፣ ስለ መንገዱ እኔ ልንገርሽ።

ከዱባይ ኢብን ባቱታ ጣቢያ ወደ አቡ ዳቢ የሚሄደው አውቶቡስ ኢ101 ነው፤ 25 ድርሃም፣ በኖል (የዱባይ የትራንስፖርት መክፈያ) ካርድ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አውቶቡሱ የሚያወርዳችሁ መሐል ከተማ ሲሆን ውድድሩ ያለበት ያስ ደሴት ደግሞ ከዱባይ ስትመጡ ከከተማው በፊት ነው። ስለዚህ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ አልፋችሁ ሄዳችሁ እንደገና ትመለሳላችሁ። ለሁለት ሰው ገንዘብ ይቆጥባል፣ ጊዜ ግን ይበላል። ሦስት አራት ሆናችሁ ከዱባይ ቀጥታ ታክሲ ብትይዙ ሒሳቡ ይቀራረባል፤ ከሥራ ባልደረቦችሽ የሚሄድ ካለ ጠይቂ። ፈቃድ የሌለው የግል መኪና ውስጥ በክፍያ መግባት ግን ይቅርባችሁ፤ ሕገ ወጥ ነው፣ ቅጣቱም ከባድ ነው።

መሄዱ ቀላል ነው፣ ፈተናው መመለሱ ነው። ውድድሩ ሲያልቅ ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ ወደ በሩ ይጎርፋል። ትኬታችሁ ማታ ኢትሃድ ፓርክ የሚካሄደውን ኮንሰርትም ይይዛል፤ ዘፈኑን ባትፈልጉት እንኳን ሕዝቡን ለሁለት ስለሚከፍለው ደስ ይበላችሁ። እኔ ሰው ስጠብቅ የማየው፣ አንድ ሰዓት ቁጭ ብለው የቆዩት ሮጠው ከወጡት ቀድመው ቤታቸው እንደሚገቡ ነው። ኮንሰርቱን እስከ መጨረሻው ካያችሁ ግን የዱባዩ አውቶቡስ እንዳያመልጣችሁ የመጨረሻውን ሰዓት ቀድማችሁ አጣሩ።

አንድ ነገር ልጨምር። የወንድምሽ የአውሮፕላን ትኬት ካልተቆረጠ የአቡ ዳቢንም ዋጋ እዪ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ2025 ጀምሮ እዚያም ይበራል፤ አውሮፕላን ማረፊያው ለያስ ደሴት ቅርብ ነው።

መልስ (ከአል አይን)

ትኬት ከሰው እንዳትገዢ። እኔ ባለፈው "መሄድ አልቻልኩም፣ በግማሽ ዋጋ ውሰጂ" ያለኝን ሰው አምኜ የስልክ ምስል ገዛሁ። በሩ ላይ ማሽኑ ቀይ አበራ፤ ያው ትኬት ከእኔ በፊት ገብቷል። ለስንት ሰው እንደሸጠው እሱ ያውቃል። ከአዘጋጁ ወይም ከታወቀ ሻጭ ብቻ ግዢ፤ የአንድ ቀን ትኬት በየመቀመጫው ላይኖር ስለሚችል ቀኑን ለአለቃሽ ከማሳወቅሽ በፊት የሚሸጠው ምን እንደሆነ አረጋግጪ።

መልስ (እናት ከአቡ ዳቢ)

ልጄ፣ ሁለቱ ጎረምሶች ስለ መታጠፊያ ሲጨቃጨቁ የበሉትን አልነገሩሽም።

ጾሙ አያስቸግርም። የዐረብ ምግብ ለጾመኛ የተባረከ ነው፦ ፈላፍል፣ ሁሙስ፣ ፉል፣ ድንች ጥብስ። ፈላፍሉ ሳንድዊች ውስጥ ሲገባ ግን እርጎ ወይም ማዮኔዝ እንዳያፈሱበት ጣሂና ብቻ በያቸው። ውስጥ ያለው ምግብ ውድ ነው፣ ሰልፉም ረጅም ነው። እኔ ከልጆቼ ጋር ስሄድ መጀመሪያ ያስ ሞል ገብተን ጠግበን እንወጣለን።

ልብስ ያዙ። ቀን ይሞቃል ብላችሁ በስስ ሸሚዝ ትሄዳላችሁ፤ ውድድሩ ሲያልቅ ግን ጨለማ ነው፣ ከባሕሩ ነፋስ ይነሣል። ሹራብ፣ ለቀኑ ኮፍያ፣ ለሁለታችሁም የጆሮ መድፈኛ። እንደ ዱሮው አይጮኹም ይላሉ፤ ከ2014 ወዲህ ሞተሩን ቀይረውታል። ከዋናው በፊት የሚሮጡት የፎርሙላ 2 መኪኖችም ግን ጆሮ ያማሉ። የጫማ ነገርማ አይነሣ፣ እግር ብቻ ነው ያለው።

ሰዓቱን ተጠንቀቂ። ትኬቱ ላይ 17:00 የሚለው በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 11 ሰዓት ነው። አንዱ ዘመዴ አዲስ አበባ ላሉት "በ5 ሰዓት ይጀምራል" ብሎ ነግሯቸው፣ ቤተሰቡ ከረፋዱ ጀምሮ ቴሌቪዥን ሲጠብቅ ዋለ። ለእናታችሁ ስትነግሪ በአዲስ አበባ 10 ሰዓት በያት፤ አቡ ዳቢ በአንድ ሰዓት ትቀድማለችና። የቅዳሜው ማጣሪያ ደግሞ እዚህ አቡ ዳቢ፣ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 12 ሰዓት ነው።

ስለ ቀኑ ከጠየቅሽኝ፣ ሦስቱን ቀን አብራችሁ መሄድ አለባችሁ ያለው ማን ነው? አንቺ ሥራ ላይ ስትሆኚ ልጁ ቤት ተዘግቶ ሊውል ነው? የዓርብ ትኬት ብዙ ጊዜ ከሁሉም ርካሽ ነው። ዓርብ ብቻውን ይሂድ፣ ሕዝቡም ቀለል ስለሚል አካባቢውን ይልመድ። እሑድ አንቺን መርቶ ይወስድሻል።

መልስ (ዘጠነኛው መታጠፊያ)

እማማ እኔ ያላሰብኩትን አሰቡ። ዓርብ ከሄደ ሁለተኛውን ልምምድ እንዳያመልጠው፣ ከመጀመሪያው ይልቅ ለእሱ ይቆይ። በጉብታው ትኬት ገብቶ ከየት ጥሩ እንደሚታይም ያጠናል።

ጠያቂዋ (የዴይራዋ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ወንድሜን ደውዬ ጠየቅኩት፤ "ቀኑን አንቺ ምረጪ፣ መታጠፊያውን እኔ" አለኝና ስድስተኛውን መረጠ። ሶፋዬ ላይ ያሉት ወንድማችን ስለ 2021 የጻፉትን ባነብለት ስልኩን ሊዘጋብኝ ነበር፤ ያን ቀን እንዲያነሡበት አይፈልግም።

እሑድ አብረን እንሄዳለን። የዓርብ ትኬት ካገኘሁለት ብቻውን ይሄዳል፤ ስልኩ ባትሪ ቢጨርስ የምንገናኝበትን ቦታም ቀድመን እንነጋገራለን። በአውቶቡስ ሄደን ስንመለስ ከሥራ ጓደኞቼ ጋር ታክሲ እንጋራለን፤ ሁለት ሴቶች እሺ ብለውኛል።

እማማ፣ አንድ የቀረኝ ጥያቄ አለ፣ እንዳይስቁብኝ። ወንድሜ ከቤት ቆሎ ይዞ ይመጣል። በሩ ላይ ያስገቡናል?

መልስ (እናት ከአቡ ዳቢ)

ምን ያስቃል ልጄ። ምግብ ይዞ መግባት ሊከለከል ስለሚችል ከትኬቱ ጋር የሚመጣውን ደንብ አንብቢ፤ በጠርሙስ ግን ምንም አትያዙ። እኔ ሁለት ጊዜ ቆሎ በኮቴ ኪስ ይዤ ማንም ሳይጠይቀኝ ገብቻለሁ። በሦስተኛው ጠባቂው አስወጣኝና አሸትቶ "ምንድን ነው?" አለኝ። አቀመስኩት። አንድ እፍኝ ወስዶ አሳለፈኝ፤ ስለዚህ ትንሽ ጨመር አድርጎ ያምጣ።