እናቴ ስልኳን ትመርቀዋለች፤ ስልኩም «አሜን» ይላታል

የመሃል ሜዳ ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ይረዝማል፤ ታገሡኝ።

እናቴ 71 ዓመቷ ነው። የምትኖረው መሃል ሜዳ ነው። እኔ ለሥራ ደብረ ብርሃን ነኝ። አባቴ ካረፈ ወዲህ ብቻዋን ናት። ዓይኗን ሞራ ስለጋረዳት ዳዊቷን እንደ ድሮ መድገም አቅቷታል። ባለፈው ዓመት የእህቴ ልጅ ስማርት ስልክ ገዛላት። ውዳሴ ማርያሙን በድምፅ እንድትሰማ ብሎ ነው። ስልኩም ጠቅሟታል። በዚያ በመንዝ ብርድ ሌሊት ተነሥታ፣ ባናዋን ተከናንባ፣ ስልኩን ጆሮዋ ሥር አድርጋ ስትሰማ አይቻታለሁ። ይህን ልነጥቃት አልፈልግም።

ችግሩ ሌላ ነው። መጀመሪያ አንድ ቪዲዮ መጣ። ቢጫ ቆብ ያደረጉ፣ ጢማቸው የነጣ አባት ናቸው። «በዚህ ወር መቅሠፍት ይመጣል፤ ለ21 ሰው ያልላከ ይጠየቅበታል» ይላሉ። ከሥሩ ገንዘብ የሚላክበት ቁጥር አለ። እናቴ ሦስት ቀን አክፍላ ጾመች። ከበጓ ሽያጭ ላይ 500 ብር ላከች። ለጎረቤት ሁሉ በቡና ላይ ነገረች። እኔ ሳየው የአባ እጅ መስቀሉን እንደያዘ ቅርጹ ይቀያየራል። በኤአይ፣ ማለትም በሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ የተሠራ ነው።

ሁለተኛው ይብሳል። የእህቴ ልጅ በአማርኛ ሲያናግሩት የሚመልስ ኤአይ ጭኖላታል። ማታ ማታ ታወራዋለች። በፍልሰታ የስኳር ኪኒኗን ከቅዳሴ በኋላ ብታደርገው ምን እንደሚል ጠይቃው «ይችላሉ» አላት። ለማንም አልነገረችም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ራሷን አዙሯት ሴቶች ደግፈው አወጧት።

ባለፈው ቅዳሜ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ስታወራው ሰማሁ። ሲጨርሱ እንደ ልማዷ መረቀችው። «ተባረክ ልጄ፣ እግዜር ዕድሜ ይስጥህ» አለችው። «አሜን እማማ፣ እኔም እጸልይልዎታለሁ» አላት።

ምን እንደምል አጣሁ። «እማዬ፣ እኮ ማሽን ነው» አልኳት። «ታዲያ ማሽን እንዴት አሜን ይላል?» አለችኝ። መልስ የለኝም። ጠንከር አድርጌ ብናገር እምነቷን የናቅኩባት ይመስላታል። ዝም ብል ደግሞ ነገ ሌላ ነገር ይነግራታል። እናንተ ከወላጆቻችሁ ጋር እንዴት አደረጋችሁ?

ከይፋት፦

ወንድሜ፣ እኔ ባንተ ቦታ ብሆን ስልኩን እወስድባታለሁ። «እጸልይልሃለሁ» የሚል ነገር ቤት ውስጥ አይቀመጥም። ሜሞሪ የምትቀበል ትንሽ ሬዲዮ ግዛላት። ውዳሴ ማርያሙንም መዝሙሩንም ትሰማበታለች። ሬዲዮዋ ከማንም ጋር አታወራም። የኔ አባት እንዲህ ነው የሚጠቀሙት፤ ደስተኛ ናቸው።

ዲያቆን ከባሶ፦

የሬዲዮው ሐሳብ ጥሩ ነው፤ ለውዳሴ ማርያሙ ይበቃል። ግን ስልኩን ቢነጥቃት ጎረቤት ቤት ታየዋለች። ቪዲዮውም በጎረቤት ስልክ ይመጣል።

እኔ በዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ኮምፒውተር ነው። በሰንበት ደግሞ አገለግላለሁ። ስለዚህ ከሁለቱም ወገን ይጠይቁኛል። አንድ ነገር ተምሬያለሁ። ለአረጋውያን «ተአምር የሚባል የለም፣ ሁሉም ውሸት ነው» ብለህ አትጀምር። ደብረ ብርሃን ስሟን ያገኘችው በ15ኛው መቶ ዘመን፣ በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ጊዜ፣ ከሰማይ ታየ በተባለ ብርሃን ነው። በዚህ ስም የምትጠራ ከተማ ውስጥ ተቀምጠህ «ምልክት አይታይም» ብትላቸው ማን ይሰማሃል? ክርክሩ እዚያ ላይ አይደለም። ነገሩ ከማን መጣ የሚለው ላይ ነው።

ይህን ደግሞ እነሱ ከእኛ ይልቅ ያውቁታል። ድሮ «ሕልም ታይቶኛል» የሚል ባሕታዊ መንደር ሲገባ አባቶቻችን ዝም ብለው አይቀበሉም ነበር። ገዳሙ የት ነው? አበምኔቱ ማን ናቸው? ማን ላከህ? ይሉታል። የቆሎ ተማሪም ቢሆን መጀመሪያ የሚጠየቀው ከየትኛው የኔታ እንደተማረ ነው። ያ ጥያቄ ዛሬም ይሠራል። አዲስ ነገር ማስተማር አያስፈልግም፤ ያንኑ ጥያቄ ወደ ስልኩ ማዞር ነው።

ባለፈው ዓመት ሰንበቴ ላይ ሞከርኩት። ዳቦው ተቆርሶ፣ ጠላው ተቀድቶ፣ ሽማግሌዎቹ ተቀምጠዋል። ስልኬን አወጣሁና «የምታውቁትን ጠይቁት» አልኳቸው። የማያውቁትን ሳይሆን የሚያውቁትን፤ ይህ ዋናው ነው። አንዱ «መጽሐፍ ቅዱስ ስንት መጽሐፍ ነው?» አሉት። 66 አለ። ሰንበቴው ሁሉ በአንድ ድምፅ «ሰማንያ አሐዱ!» አለ። አንዲት እናት ደግሞ ፍልሰታ በፈረንጅ መቼ እንደሚገባ ጠየቁት፤ ልጃቸው ውጭ አገር ነው። ነሐሴ 1 በፈረንጅ ኦገስት 7 ነው። እሱ ግን ኦገስት 1 አለ። ሁለቱን ወሮች አንድ አድርጎ ማለት ነው። ልጁ በእሱ ቢመራ ስድስት ቀን ቀድሞ ይጀምር ነበር። ከዚያ አንድ ሽማግሌ፣ በሕፃንነታቸው ጸዋትወ ዜማ የተማሩ ናቸው፣ እንዲህ አሉ፦ «ጉባኤው የት ነው? መምህሩስ ማነው?» እኔ ከዚያ በላይ የጨመርኩት ጥቂት ነው።

የጨመርኩትን ልንገርህ፤ ለእናትህ ጥያቄ መልሱ እዚህ ውስጥ ነው። ኤአይ ሰዎች የጻፉትን እጅግ ብዙ ጽሑፍ አይቷል። ከዚያ ቀጥሎ የትኛው ቃል ሊመጣ እንደሚችል እየገመተ ይናገራል። ሰው ሲመርቅ «አሜን» ተብሎ እንደሚመለስ ከኛው ጽሑፍ ነው የለመደው። «እጸልይልዎታለሁ»ም እንደዚያው። ቃሉ የኛ ነው፤ ከቃሉ በስተኋላ የሚጸልይ የለም። በኢንተርኔት ላይ ያለው የአማርኛ ጽሑፍ ደግሞ ከእንግሊዝኛው ጋር ሲወዳደር በጣም ትንሽ ነው። ስለዚህ በኛ ነገር ላይ ብዙ ይስታል። ሲስትም ድምፁ አይለወጥም። ሰው ሲጠራጠር ያመነታል፤ እሱ አያመነታም። ለአረጋውያን ከባዱ ይህ ነው፤ የረጋ አነጋገር የአዋቂ ምልክት ነው ብለው ነው ያደጉት።

ሥዕሉንና ቪዲዮውን በተመለከተ የእናቶቻችንን ዓይን አትናቅ። በፈረንጅ 2023 የሮማው ፖፕ ፍራንሲስ ነጭ የብርድ ጃኬት ለብሰው የሚያሳይ ምስል ዓለምን ዞሯል። በኤአይ የተሠራ ነበር፤ ብዙ የተማረ ሰው አምኖታል። የኛ አያቶች ግን የሚያውቁት ሌላ ነገር አለ። አንዲት እናት በስልክ የመጣላቸውን የቅዱስ ሥዕል አይተው «ይህን የሠራ የኛ ሰው አይደለም» አሉኝ። እንዴት ብላቸው፣ ቅዱሱ በጎን ነው የተሣለው፤ የሚታየው አንድ ዓይኑ ብቻ ነው። በኛ ሥርዓት ጻድቅ በሁለት ዓይን ይሣላል፤ በአንድ ዓይን የሚሣለው ርኩሱ ነው። ከሥሩ ያለው ጽሑፍም ፊደል ይመስላል እንጂ ሲያነቡት ምንም አይሆንም። እኔ ሁለቱንም አላየሁትም ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። ቻትጂፒቲ የተባለው ኤአይ ለሕዝብ የተከፈተው በፈረንጅ ኖቬምበር 30 ቀን 2022 ነው። በኛ ኅዳር 21 ቀን 2015፣ የጽዮን ዕለት ይውላል። ይህን ስናገር ግማሹ «የበረከት ምልክት ነው» አለ፤ ግማሹ «የድፍረት ምልክት ነው» አለ። ከቀን መገጣጠም ማንም የፈለገውን ማውጣት እንደሚችል በዓይናችን አየን። ከዚያ ወዲህ ቀን አልጠቅስላቸውም።

ጥያቄዎቹን ይዘህ ሂድ። አንተ አትመልስላት። እሷ ትጠይቀው።

የደብረ ሲናዋ፦

እኔ ነርስ ነኝ። ስለ ኪኒኑ ብቻ ልናገር፤ እሱ አስፈርቶኛል። የስኳር መድኃኒት እየወሰዱ ምግብ ማዘግየት ስኳርን ከልክ በታች ሊያወርድ ይችላል። ማዞር፣ ማላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ራስን መሳት ይመጣል። እናትህን ያዞራት ይህ ሊሆን ይችላል። የመድኃኒት ሰዓት ከሐኪሟ ጋር ሳይነጋገሩ አይቀየርም። እባክህ ሳትዘገይ ውሰዳት።

ጾሙን ደግሞ ለንስሐ አባቷ ትንገራቸው። ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው ታዝናለች። እናቶች «አልጾምም» ማለት ያሳፍራቸዋል፤ ለሐኪምም ለካህንም መንገር ይከብዳቸዋል። ለስልክ ግን ይነግራሉ፤ ስልክ አይታዘባቸውማ። ብዙ ጊዜ የማየው ይህንን ነው። ንስሐ አባቷን አንተ ቀድመህ አናግራቸውና እሳቸው ራሳቸው ቤት መጥተው «አንቺ ልጄ፣ ዘንድሮ እንዲህ አድርጊ» ይበሏት። ከእሳቸው አፍ ሲመጣ ይቀላታል።

ሌላው፣ የምሥጢር ቃል ይኑራችሁ። አሁን ድምፅ ከትንሽ ቅጂ ይሠራል። በፈረንጅ 2023 ማይክሮሶፍት ያስተዋወቀው አንድ የምርምር ሥራ 3 ሰከንድ ድምፅ ይበቃው ነበር። ነገ ባንተ ድምፅ «እማዬ ታስሬያለሁ፣ ብር ላኪ» ቢላትስ? እኛ ቤት የመረጥነው ድሮ የነበረን የበሬ ስም ነው። አያቴ ሌላው ሁሉ ቢጠፋባቸው እሱን አይረሱትም።

የመሃል ሜዳ ልጅ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እሑድ ሄጄ ነበር።

ከቅዳሴ መልስ ቡና ተፈላ። ሁለት ጎረቤቶች ነበሩ። ዲያቆን እንዳልከው ምንም አልተናገርኩም። «እማዬ፣ ልጁን ከማን እንደተማረ ጠይቂው» አልኳት ብቻ። ትንሽ አሰበችና ስልኩን አነሣች። የራሷን ጥያቄ ነው የጠየቀችው።

«ልጄ፣ ንስሐ አባትህ ማን ናቸው?» አለችው።

ፕሮግራም እንደሆነና ንስሐ አባት እንደሌለው ነገራት።

«ትጾማለህ?»

አልጾምም አላት።

«ታዲያ እንዴት ብለህ ነው የምትጸልይልኝ?»

ይቅርታ ጠየቃት። መጸለይ እንደማይችል፣ እንደዚያ ማለትም እንዳልነበረበት ተናገረ። ጎረቤቶቹ ዝም አሉ። እናቴ ስልኩን መደቡ ላይ አስቀመጠችው። «እንግዲያ አሜን አትበለኝ» አለችው። ተቆጥታ አልነበረም። እኔን ድሮ ስታርመኝ በነበረው ድምፅ ነው።

ስለ ቪዲዮው አባት እኔ አላነሣሁም። አንዷ ጎረቤት ራሷ ናት «የእኚያስ አባት ደብራቸው የት ነው?» ያለችው። የሚያውቅ አልነበረም። እናቴ 500 ብሩን ስታስብ ፊቷ ጠቆረ። «ለቤተ ክርስቲያን ብለሽ ነው የሰጠሽው፤ የሰጠሽበት ልብ አይጠፋም» አልኳት። እኔም የማምነው ይህንን ነው።

ንስሐ አባቷን አናግሬአቸዋለሁ፤ በዚህ ሳምንት ይመጣሉ። ሬዲዮውንም ገዝቻለሁ። የምሥጢር ቃሉን እሷ መርጣለች፤ እዚህ አልጽፈውም።

ማክሰኞ ለስኳሯ ሐኪም ጋ ይዣት እሄዳለሁ። በዚያው ዓይኗንም እናሳያለን። ከዚህ በፊት ስለምናት «ካረጀሁ ወዲያ ቢላ አላስነካም» ነበር የምትለኝ። እሑድ ማታ ግን ልተኛ ስል ከጨለማው ውስጥ ጠራችኝ። «ሞራው ከተነሣልኝ ዳዊቴን ራሴ እደግማለሁ ማለት ነው?» አለችኝ።