ባንድ ወደ ሐዋሳ ሲመጣ የምናውቀውን ይጫወት ወይስ ያልሰማነውን?

ጥያቄውን ያነሣው የድምፅ ባለሙያ፦

ባለፈው ቅዳሜ ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ የሮክ ባንድ በከተማችን ኮንሰርት አቅርቦ ነበር። መወያየት የምፈልገው በአንድ ባንድ ጥፋት ላይ ሳይሆን እየተለመደ በመጣ አሠራር ላይ ስለሆነ ስሙን አልጠራም። ከተጫወታቸው 16 ዘፈኖች መካከል ታዳሚው አብሮ ሊዘፍናቸው የቻለው ሦስቱን ብቻ ነበር። የቀሩት ገና ካልወጣ አልበም የተወሰዱ ወይም በቀድሞዎቹ አልበሞች መጨረሻ ላይ ተቀምጠው በሬዲዮ ተደምጠው የማያውቁ ነበሩ።

ከሚክሰሩ፣ ማለትም ድምፅ ከሚመጠንበት መሣሪያ፣ ኋላ የሚቆም ሰው የታዳሚውን ስሜት በጆሮው ይለካል። ሕዝቡ የሚያውቀው ዘፈን ሲጀመር የዘፋኙን ማይክራፎን ትንሽ ዝቅ አደርጋለሁ፤ የሥራውን ግማሽ ሕዝቡ ይይዘዋልና። የማያውቀው ዘፈን ሲሆን ግን ከሁለተኛው አዝማች በኋላ ወሬ ይነሣል፤ ወሬው ከፍ ሲል እኔም ድምፁን ከፍ አደርጋለሁ፤ እንዲህ እያልን መድረኩና ታዳሚው እርስ በርስ ሲጯጯኹ ያመሻሉ። ቅዳሜ ዕለት የሆነው ይኸው ነው።

በዚያ ምሽት ከዲላና ከይርጋለም በሚኒባስ የመጡ ወጣቶች ነበሩ። ኮንሰርቱ የሚያልቀው መኪና በማይገኝበት ሰዓት ስለሆነ ከትኬቱ ሌላ የአልጋም ከፍለዋል። ያን ባንድ ዳግመኛ መቼ እንደሚያዩት አያውቁም። ስለዚህ አቋሜ ይህ ነው፦ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ያም ከሆነ፣ ወደ አንድ ከተማ የሚመጣ ባንድ ሕዝቡ የሚወድድለትን ዘፈን የመጫወት ዕዳ አለበት።

ይህን አቋም የሚደግፍልኝ መድረክ ከራሳችን ሐዘን ጋር የተያያዘ ነው። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ለተጎዳው ወገናችን ርዳታ ለማሰባሰብ ሐምሌ 6 ቀን 1977 ላይቭ ኤይድ የተባለው ኮንሰርት በለንደኑ ዌምብሌይ ስታዲየም ሲካሄድ ለባንዶቹ የተሰጣቸው ጊዜ ለእያንዳንዳቸው 20 ደቂቃ ገደማ ነበር። ኩዊን የተባለው ባንድ ያችን ጊዜ አዲስ ሥራ ለማስተዋወቅ አላዋላትም። የታወቁ ዘፈኖቹን አሳጥሮ፣ አስቀድሞ በሚገባ ተለማምዶ፣ አንዱን በሌላው ላይ እያከታተለ ተጫወተ። ከ70 ሺህ የሚበልጠው ሕዝብ እጁን ወደ ላይ አንሥቶ በአንድ ምት ሲያጨበጭብ የሚያሳየው ቀረጻ ይኸው 40 ዓመት አልፎትም ይታያል። ባንዱ ያን ቀን «የልባችን ሥራ ይህ ነው» ብሎ ማንም የማያውቀውን ቢያቀርብ ኖሮ ያ እጅ አይነሣም ነበር።

የቤዝ ጊታር ተጫዋቹ፦

ጋሼ፣ እርስዎ ድምፁን ይዘውልኝ ብዙ መድረክ ላይ የቆምሁ ሰው ስለሆንሁ በአክብሮት ልቃወምዎ። ከዚያው ዕለትና ከዚያው መድረክ ሌላ ምስክር አለኝ። ዩቱ የተባለው የአየርላንድ ባንድ በላይቭ ኤይድ ሦስት ዘፈን ሊጫወት አቅዶ፣ ለመዝጊያ ያስቀመጠው በወቅቱ ከሁሉ ይበልጥ የታወቀለትን «ፕራይድ»ን ነበር። ሁለተኛው «ባድ» የተባለ፣ አልበም ሙሉውን የሚሰማ ሰው እንጂ ሬዲዮ የሚሰማ ሰው የማያውቀው ዘፈን ነው። ዘፋኙ ቦኖ በዚህ ዘፈን መካከል ከመድረክ ወርዶ ከታዳሚዎቹ አንዲቱን ወጣት ይዞ ሲጨፍር፣ ጓደኞቹ የት እንደ ገባ ሳያዩ ያንኑ ዜማ እየደጋገሙ ጠበቁት። ዘፈኑ 12 ደቂቃ ያህል ፈጀ፤ ለታዋቂው ዘፈን ጊዜ አልተረፈም። ከመድረክ ሲወርዱ ዕድላቸውን በገዛ እጃቸው ያበላሹ መስሏቸው ነበር። ዛሬ ግን ባንዱ ከፍ ወዳለ ደረጃ የተሻገረው በዚያች ቀን እንደሆነ ይነገራል። ስለዚህ እርስዎ የጠቀሱት ሐምሌ 6 ቀን ለእኔም ይመሰክርልኛል።

ማንኛውም ታዋቂ ዘፈን አንድ ቀን ያልታወቀ ነበር። ፒንክ ፍሎይድ የተባለው የእንግሊዝ ባንድ «ዘ ዳርክ ሳይድ ኦቭ ዘ ሙን» የተባለውን ሥራውን በእንግሊዝ መድረኮች ላይ መጫወት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1972 መጀመሪያ ሲሆን አልበሙ ለገበያ የቀረበው በመጋቢት 1973 ነው። ትኬት ገዝቶ የገባው ሕዝብ ከአንድ ዓመት በላይ የማያውቀውን ሥራ እየሰማ፣ ሙዚቀኞቹም በሕዝቡ ፊት እያረሙት ሄዱ። ሕዝቡ ያን ጊዜ «የምናውቀውን ብቻ» ቢል ኖሮ የታረመው ሥራ ከየት ይመጣ ነበር?

የራሴን ነገር ልጨምር፤ ይህን ክርክር እንደ ወሬ ማየት የማልችለውም በዚህ ምክንያት ነው። እኔና ጓደኞቼ በዚህ ከተማ በአንድ ሆቴል ዓርብ ዓርብ ማታ እንጫወታለን። ባለቤቱ የሰጠን መመሪያ አንድ ነው፦ ሕዝብ የሚያውቀውን ተጫወቱ። ስለዚህ የሰው ዘፈን እንጫወታለን፤ የሰው ዘፈን ተጫውተን ሽልማት እንቀበላለን፤ «ይደገም!» ሲባል የሰው ዘፈን እንደግማለን። በሦስት ዓመት ውስጥ የራሳችንን ሥራ በመድረክ ላይ የተጫወትነው ዘጠኝ ጊዜ ነው፤ ቆጥሬዋለሁ። በእኛ አገር ሮክ ራሱ ለብዙው ጆሮ እንግዳ ነበር። ጃኖ ባንድ እ.ኤ.አ. በ2012 «ኤርታሌ» የተባለውን አልበም ሲያወጣ የአማርኛ ግጥምን በሚያጓራ ኤሌክትሪክ ጊታር ላይ ያስቀመጠው አስቀድሞ የጠየቀው ሕዝብ ስለነበረ አይደለም። «የሚታወቀውን» የሚለው ሕግ ቢጸና ኖሮ ዛሬ ስለ ሮክ ባንድ የምንከራከርበት ምክንያት ራሱ አይኖርም ነበር።

አንድ ዘፈን ሺህ ጊዜ መጫወትም ቀላል አይደለም። ሬዲዮሄድ የተባለው የእንግሊዝ ባንድ የታወቀበትን፣ እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣውን «ክሪፕ»ን ለዓመታት ከመድረኩ አግልሎት ነበር። ዘፋኙ የማያምንበትን ሲዘፍን ታዳሚው ባያውቅ እንኳ እኛ አጠገቡ የምንቆመው እናውቃለን።

ከአዳማ የምትጽፍ የባንክ ሠራተኛ፦

እኔ ሙዚቀኛ አይደለሁም፤ የምናገረው እንደ ከፋይ ነው። ከአዳማ ለዚያ ኮንሰርት ብዬ ተነሥቼ፣ አንድ ሌሊት አድሬ የተመለስሁት ሦስት ዘፈን ለመስማት አልነበረም። የዘፋኙ ድካም ይገባኛል፤ ነገር ግን እኔም በየቀኑ ያንኑ ቅጽ ስሞላ እደክማለሁ፤ ደንበኛው ግን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያየውን ቅጽ ስለ ድካሜ ብዬ አልነሣውም። ታዳሚን ማስቀየም ምን እንደሚያስከትል ለማወቅ የአሜሪካዊውን ዘፋኝ የቦብ ዲለንን ታሪክ ማየት ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1966 በማንቸስተር አንድ ታዳሚ በአዳራሹ መካከል «ይሁዳ!» ብሎ ጮኸበት።

የሙዚቃ መምህርቷ፣ ሐዋሳ፦

እኅቴ፣ ገንዘብሽና ጊዜሽ እንዳይባክን መጠየቅሽ ትክክል ነው፤ የጠቀስሽው ታሪክ ግን ለዚህ ጉዳይ አይስማማም። ሰውየው የጮኸው ዲለን ያልታወቀ ዘፈን ስለ ተጫወተ ሳይሆን በኤሌክትሪክ ጊታር ስለ ተጫወተ ነው። እንዲያውም ባንዱን ይዞ ከተጫወታቸው መካከል ሕዝቡ በአኩስቲክ ጊታር ለምዷቸው የቆዩ ነበሩባቸው። ያ ታሪክ የሚያስተምረን ሌላ ነገር ነው፤ የታወቀ ዘፈንም መልኩ ሲለወጥ እንግዳ ይሆናል።

ይህን ደግሞ ከእንግሊዝ መማር አያስፈልገንም። በእኛ ባህል «የታወቀ» እና «ያልታወቀ» የሚባሉት ሁለት የተለያዩ የዘፈን ወገኖች አልነበሩም። አዝማሪው ማሲንቆውን አንሥቶ ትዝታን ሲጀምር ዜማውን የማያውቅ ሰው በቤቱ ውስጥ የለም። የሚመጣውን ስንኝ ግን ማንም አያውቅም፤ አድማጩ «ተቀበል!» ብሎ የራሱን ግጥም ሲሰጠው አዝማሪው ራሱ እንኳ አስቀድሞ አያውቀውም። ሰዉ የሚያውቀው ዜማ ያሳርፈዋል፤ የማያውቀው ግጥም ደግሞ ጆሮውን ያነቃዋል። ሁለቱ በአንድ ዘፈን ውስጥ አብረው ይኖሩ ነበር። ሸክላና ካሴት መጥተው ዘፈኑን ከነግጥሙ ካጸኑት በኋላ ነው አንዱን መርጠን ሌላውን ለመተው የተገደድነው።

ደግሞም አንድ ዘፈን የሚታወቀው ወይም የማይታወቀው በአዳራሹ ነው። ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 በአኮርዲዮንና በኪቦርድ የቀረጸው ካሴት ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ የውጭ አገር ሰው እጅ ገብቶ በ2013 እንደገና ሲታተም፣ እኛ በልጅነታችን የምናውቃቸው ዜማዎች ለአውሮፓና ለአሜሪካ ታዳሚ ፈጽሞ አዲስ ነበሩ፤ ያም ሆኖ አዳራሽ ሞልቶ አደመጣቸው። ሕዝብ ያልሰማውን አይሰማም የሚለው አባባል እዚህ ላይ አይሠራም።

ቅዳሜ ዕለት እኔም ከፊት ነበርሁ፤ ቅሬታዬም ከጋሼ ቅሬታ ይለያል። ባንዱ 13 የማናውቃቸውን ዘፈኖች አንዲት ቃል ሳይናገር አከታተለብን፤ ስማቸውን እንኳ አልነገረንም። ከዘጠነኛው በቀር! ዘጠነኛውን ከመጀመሩ በፊት ዘፋኙ ጊታሩን ዝቅ አድርጎ፣ ታላቅ ወንድሙ ወደ ሞያሌ በሄደበት ሌሊት እናቱ በር ላይ ቆማ እንዳደረች፣ ዘፈኑንም ስለዚያ ሌሊት እንደ ጻፈው በሁለት ዓረፍተ ነገር ተናገረ። ያን ዘፈን ማንም አያውቀውም ነበር። ጋሼ፣ እርስዎ ከሚክሰሩ ላይ ሆነው በዚያ ሰዓት ወሬ ሰምተው ነበር? ድምፅ ከፍ አድርገው ነበር?

የድምፅ ባለሙያው፦

አላደረግሁም። መምህርት፣ እውነቱን ለመናገር በዘጠነኛው ዘፈን ጊታሮቹን ዝቅ ነው ያደረግሁት፤ አዳራሹ እጅግ ጸጥ ስላለ የዘፋኙ ትንፋሽ ይሰማ ነበር። ይህን በመነሻ ጽሑፌ ማስገባት ነበረብኝ፤ አለማስገባቴ ስሕተት ነው።

ይሁን እንጂ ዘጠነኛው ዘፈን አንድ ነው፤ የቀሩት 12 እንደዚያ አልነበሩም። እዚህ ላይ የምለየው ነገር አለ። ያልታወቁ ዘፈኖችን በመጫወት የሚመሰገኑት ታላላቅ ባንዶች በምን ሁኔታ ውስጥ ሆነው እንደሚያደርጉት ልብ በሉ። ፊሽ የተባለው የአሜሪካ ባንድ እ.ኤ.አ. በ2017 በኒው ዮርኩ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን 13 ሌሊት ሲጫወት አንድም ዘፈን አልደገመም። ሜታሊካ ከ2023 ጀምሮ ባደረገው ጉዞ በአብዛኞቹ ከተሞች ሁለት ምሽት እየቆየ በሁለተኛው ምሽት የመጀመሪያውን ምሽት ዘፈኖች አይደግምም ነበር። ግሬትፉል ዴድ ደግሞ በ30 ዓመት ውስጥ ከ2,300 በላይ ኮንሰርቶችን ሲያቀርብ የየምሽቱን የዘፈን ዝርዝር ይለዋውጥ ነበር፤ ታዳሚው ቴፕ ይዞ ገብቶ እንዲቀዳ ይፈቅድ ስለነበርም፣ አድናቂው ያልተገኘበትን ምሽት እንኳ በካሴት ይሰማው ነበር። ሦስቱንም የሚያገናኛቸው ነገር ያው ታዳሚ ተመልሶ መምጣቱ ነው። ዛሬ ያልተጫወቱለትን ነገ ይጫወቱለታል። ከይርጋለም ለመጣችው ልጅ ነገ የላትም።

ስለዚህ ሕጉ ለሁሉም አንድ መሆን የለበትም ወደሚለው መጥቻለሁ። አንድ ጊዜ ብቅ ብሎ የሚሄድ እንግዳ ባንድ የሚታወቀውን ይጫወት፤ እንደ ዘጠነኛው አንድ ወይም ሁለት አዲስ ዘፈን ከነታሪኩ ይጨምርበት። ከእኛ ጋር የሚኖር፣ በየሳምንቱ የምናገኘው ባንድ ግን ግዴታው ተገላቢጦሽ ነው። ልጄ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ዓርብ ዓርብ እየሰማናችሁ ከራሳችሁ ሥራ አንዱን እንኳ አብረን መዝፈን አለመቻላችን የናንተ ጥፋት ሳይሆን የእኛና የሆቴሉ ነው። ይህን ስጽፍ በየዓርቡ እዚያው ሚክሰር ላይ እንደምቆም አልዘነጋሁም፤ ለምን አትጫወቱም ብዬ አንድም ቀን አልጠየቅኋችሁም።

የቤዝ ጊታር ተጫዋቹ፦

ጋሼ፣ ስለ ቅዳሜው ባንድ አሁንም አልተስማማንም። እነዚያ ልጆች በአዲስ አበባ ክበቦች እንደ እኛው የሰው ዘፈን እየተጫወቱ ከርመው የራሳቸውን የሚያሰሙበት ሰፊ መድረክ ያገኙት በዓመት አንዴ እንደዚያ ቅዳሜ ሊሆን ይችላል፤ ለእነርሱም ነገ የላቸውም። ሆኖም የዓርቡን ነገር ስላነሡ ልጠይቅዎ፤ ለባለቤቱ ማን ይነግርልናል?

የድምፅ ባለሙያው፦

ማክሰኞ ሄጄ አነጋግረዋለሁ። የምጠይቀው በየዓርቡ ግማሽ ሰዓት ነው፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሰዉ ሲሳሳ የሚሰጥ ሳይሆን ቤቱ ሞልቶ ሳለ የሚሰጥ ግማሽ ሰዓት። ካሏችሁ ዘፈኖች አራቱን መርጠህ የልምምድ ቅጂያቸውን ላክልኝ፤ ሳላውቃቸው ሚክሰር ላይ መቆም አልፈልግም።

የቤዝ ጊታር ተጫዋቹ፦

ዛሬ ማታ እልካለሁ። ከአራቱ አንዱ በአምባሰል ቅኝት የተሠራ ነው፤ መምህርት፣ እርስዎም ቢሰሙልን ደስ ይለናል።