የልጆች ካርቱን ውስጥ የአዋቂ ሽሙጥ ምን ይሠራል? ክርክር በስፖንጅቦብ ላይ

እናት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

እስቲ በዚህ ነገር ሐሳባችሁን ስጡኝ። ልጄ 7 ዓመቱ ነው፣ ከባሕር ሥር ስለሚኖር ስፖንጅ የሚያወራውን የአሜሪካ ካርቱን፣ ስፖንጅቦብን፣ እንደ ጉድ ይወዳል። ሰሞኑን አብሬው ቁጭ ብዬ አንድ ክፍል አየሁ። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ ነው። ስፖንጅቦብ ከሚሠራበት ምግብ ቤት ጀርባ ያለ የቆሻሻ ገንዳ ላይ የተጻፈ ስድብ ያነባል። ጓደኛው ፓትሪክ ደግሞ ንግግር የሚያሳምር ቃል ነው ብሎ ያስረዳዋል። ከዚያማ ሁለቱ በየአረፍተ ነገሩ እየሰነቀሩ ሲሳደቡ ይውላሉ። ቃሉ አይሰማም፣ የዶልፊን ድምፅ ተደርጎበታል። አለቃቸው ሚስተር ክራብስ ተቆጥቶ መባል የሌለባቸው ቃላት 13 ናቸው ይላቸዋል። የስፖንጅቦብ የሥራ ባልደረባ ስኩዊድዋርድ ከጎን ሆኖ 7 አይደሉም እንዴ ይላል። ይቺ 7 የኮሜዲያኑ የጆርጅ ካርሊን ናት። በቴሌቪዥን ስለማይባሉ 7 ቃላት በ1972 ያወጣው ቀልድ አሜሪካ ውስጥ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የደረሰ ጣጣ አስነስቷል። ታዲያ የኔ ልጅ ካርሊንን ከየት ያውቀዋል? ቀልዱ የተጻፈው ለኔ ነው። ለኔ የተጻፈ ቀልድ በልጄ ሰዓት ምን ይሠራል? የወላጆች የቴሌቪዥን ምክር ቤት ይባል የነበረው የአሜሪካ ማኅበርም ይሄንኑ ክፍል ነቅፎታል። እኔ ከነሱ ጋር ነኝ። የልጅ ፕሮግራም ለልጅ ብቻ ይጻፍ።

አኒሜተር፣ አዲስ አበባ

እህቴ፣ የዚያን ክፍል መጨረሻ ግን አልነገርሽንም። ክራብስ እግሩን ድንጋይ ይመታውና ያን የከለከለውን 13ቱንም ቃል አንድ ሳያስቀር ይዘረግፈዋል። ሁለቱ ሮጠው ሄደው ለእናቱ ይናገሩበታል። እናቱም ሦስቱንም ቀጥታ ቤቷን ቀለም ታስቀባቸዋለች። እዚህ ጋ የተተቸው ማነው? ልጆቹ አይደሉም። ሲከለክል የነበረው አዋቂ ነው። ይሄን ደግሞ የ7 ዓመት ልጅ አሳምሮ ያውቃል፣ ቤት ውስጥ ያየዋላ! ካርሊን ባይገባው ምንም አይቀርበትም።

ሽሙጥ ለልጅ አይሆንም የሚለውን አልቀበልም። በዚያው ዓመት የወጣ ስለ ሥራ ማቆም አድማ የሆነ ክፍል አለ። ክራብስ ሠራተኞቹን ማስከፈል ይጀምራል፣ መተንፈሳቸው ሳይቀር ሒሳብ ይሰላበታል። ስኩዊድዋርድ አድማ ይመታል፣ መፈክር ይዞ በር ላይ ይቆማል። ሥርዓቱን እናፍርስ ብሎ ንግግር ያደርጋል። ስፖንጅቦብ ደግሞ የሰማውን በቀጥታ ይወስደውና ሌሊት ሄዶ ምግብ ቤቱን ያፈርሰዋል፣ ያውም አለቃውና ስኩዊድዋርድ በታረቁበት ሌሊት። ከዚያ ዕዳውን ለመክፈል ዕድሜ ልካቸውን ይሠራሉ። ስለ አሠሪና ሠራተኛ፣ ስለ መፈክር፣ የተባለውን ሳያጣሩ ስለ መከተል ከ11 ደቂቃ በማይበልጥ ጊዜ እንዲህ አድርጎ ለልጅ የሚነግር ነገር አምጡልኝ። ፈጣሪው ስቲቨን ሂለንበርግ የባሕር ሳይንስ አስተማሪ ነበር። ልጅ ምን እንደሚገባው ያውቅ ነበር።

መምህርት፣ ኬጂ

እኔ የማስተምረው ከ4 እስከ 6 ዓመት ያሉትን ነው። እነዚህ ልጆች ምፀት አይገባቸውም። ያዩትን ነው የሚያደርጉት። በዕረፍት ሰዓት አንዱ ልጅ ሚስተር ክራብስ ይሆናል፣ ሌሎቹ ጠጠር ለቅመው እንደ ብር ያመጡለታል። ያላመጣ ከጨዋታው ይወጣል። ሁሉም ደግሞ ክራብስን መሆን ነው የሚፈልጉት! ጸሐፊዎቹ ስስትን ሊያዋርዱት ነበር፣ ልጆቹ ግን ብር ያለውን ሰው አዩና ወደዱት። አኒሜተሩ ይሄን እንዲያስብልኝ እፈልጋለሁ። ሽሙጥ የሚሠራው የሚሸሞጠው ነገር ስሕተት መሆኑን አስቀድሞ ለሚያውቅ ሰው ነው።

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች 60 የ4 ዓመት ልጆችን በሦስት ከፍለው አንዱን ቡድን ስፖንጅቦብ ለ9 ደቂቃ አሳዩት። ሁለተኛው ረጋ ያለ የልጆች ፕሮግራም አየ፣ ሦስተኛው ሥዕል ሳለ። ወዲያው ሲፈተኑ ትኩረታቸውንና ራሳቸውን በመግዛት ስፖንጅቦብ ያዩት ከሁለቱም አነሱ። የቴሌቪዥን ጣቢያው ኒክሎዲየን ምን አለ? ፕሮግራሙ ከ6 እስከ 11 ዓመት ላሉ ነው አለ። ታዲያ የ4 ዓመቱን ልጅ ከሳሎን ማን ያስወጣው? ታላቅ ወንድሙ ሲያይ እሱም ያያል።

አኒሜተር፣ አዲስ አበባ

መምህርት፣ ጥናቱን ያነሱት ጥሩ ነው፣ ግን ስለ ሽሙጥ አይደለም። ያነጋገረው የፍጥነቱና የቅዠቱ ነገር ነው። ይኸው የተመራማሪዎች ቡድን በ2015 ባወጣው ጥናት ክብደቱን የሰጠው ለፍጥነቱ ሳይሆን በገሃዱ ዓለም ሊሆን ለማይችለው ነገር ነው። ከባሕር ሥር እሳት ሲነድ፣ ሰው ሲተነፍስና ሲሰነጠቅ ማለት ነው። ስለዚህ የ4 ዓመት ልጅ አይየው ካሉኝ እስማማለሁ። ሽሙጡ ይውጣ ካሉኝ ግን ያ ጥናት አይደግፍዎትም። የጠጠሩ ጨዋታ ያሳዝናል፣ እሱን መልስ አላገኘሁለትም።

አባት፣ ዱባይ

ዕድሜው ተጽፏል እያላችሁ አትመኑ። በ2003 አንድ ክፍል አውጥተው ነበር። ክራብስ አረጀሁ ብሎ ከወጣቶቹ ጋር ሌሊት ሊዝናና ይወጣል፣ ማምሻው ላይ የሴት ቤት ሰብረው የውስጥ ልብስ ሊሰርቁ ይገባሉ። ቤቱ የእናቱ ሆኖ ይገኛል። ጸሐፊው በክራብስ እየሳቀበት ነው፣ ይገባኛል። ይሁንና ጣቢያው ኒክሎዲየን ራሱ በ2018 መለስ ብሎ አይቶ ለልጅ አይሆንም ብሎ ከስርጭት አወጣው። ሕዝቡ የሰማው በ2021 ነው። 15 ዓመት ሙሉ ሲታይ ግን የልጆች ፕሮግራም ነበር። ሽሙጥ ነው በሚል ስም ብዙ ነገር ሾልኮ ይገባል፣ የኔ ቅሬታ እሱ ነው። እኛ ሥራ ላይ ነን፣ ልጁ ከስክሪን ጋር ብቻውን ነው፣ ማን ያጣራለታል?

የቀድሞ የቲያትር ሰው

ልጆቼ፣ እኔ ጣልቃ ልግባ። ይሄ ነገር የአሜሪካ ብቻ አስመሰላችሁት። የአማርኛ ቲያትር ሲጀመር እንስሳት እያናገረ ነው የጀመረው። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የአውሬዎች ኮሜዲያን የጻፉት በእንስሳት ተረት አስመስለው ሹማምንቱን ለመንካት ነበር። ተረት ነው ብሎ ያለፈው የለም፣ ገብቷቸው በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። ስለዚህ እንስሳ ሲናገር ልጅ ይስቃል፣ ሹም ይቆጣል፣ ሁለቱም ልክ ናቸው።

እኛ በልጅነታችን የአለቃ ገብረ ሃናን ቀልድ ስንሰማ ግማሹ አይገባንም ነበር። ሰሙን ይዘን እንስቃለን። ካደግን በኋላ አንድ ቀን ድንገት ወርቁ ፍንትው ሲልልን እንደገና እንስቃለን። ልጅ ሁሉም ነገር አሁኑኑ ይግባው ማለት እኮ ዕድሜውን በሙሉ በልጅ ቋንቋ እናውራው ማለት ነው። አያ ጅቦን ያታለለችው እመት ጦጢት ውሸታም ናት። ተረቷን ከለከልናት? አልከለከልናትም።

መምህርት፣ ኬጂ

ጋሼ፣ አፍዎን በዳቦ። ግን የርስዎን ተረት ሲነግርዎት የነበረ ሰው አጠገብዎ ነበር። ለምን ብለው ሲጠይቁ አያትዎ ይመልሱልዎታል። ፊትዎን አይተው እዚህ ጋ ፈርቷል ብለው ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ጅቡን ማድነቅ ከጀመሩም ጆሮዎን ቆንጠጥ ያደርጋሉ። ስፖንጅቦብ ይሄን አያደርግም። ተረቱን ከተራኪው ለያይተን ተረቱን ብቻ አመጣን። የኔ ክርክር ሁሉ እዚህ ላይ ነው።

እናት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

መምህርት ያሉት ነገር እኔንም አንድ ነገር አሳሰበኝ። ስለ ፓሮዲው፣ ማለትም የሌላን ሥራ አስመስሎ ስለሚቀልደው ነገር፣ ማንም አላነሳም። ሜርሜድ ማንና ባርናክል ቦይ የሚባሉ ሁለት ሽማግሌ ጀግኖች አሉ። በድሮዎቹ የአሜሪካ ጀግኖች ላይ የተሠሩ ናቸው። ድምፃቸውን የሰጡት ኧርነስት ቦርግናይንና ቲም ኮንዌይ በ1960ዎቹ ስለ ባሕር ኃይል በሚያወራ የቴሌቪዥን ኮሜዲ አብረው የሠሩ ናቸው። የአሜሪካ አያት ይሄን ሲሰማ በደስታ ይሞታል። ልጄ ግን ያንን አንዱንም አያውቅም። እሱ የሚያየው አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የሚኖሩ፣ የሚረሱ፣ ቆመው የሚያንቀላፉ ሁለት ሽማግሌዎችን ነው። የተቀለደበትን ነገር ካላወቅከው ቀልዱ ሌላ ነገር ላይ ያርፋል። እዚህ ጋ እርጅና ላይ አረፈ! እኔ ልጄን ሽማግሌ ሲገባ ተነስ እያልኩ ነው የማሳድገው።

አኒሜተር፣ አዲስ አበባ

ይሄ ከሰማሁት ሁሉ የበረታው ነጥብ ነው፣ ስለዚህ በደንብ ልመልስ። በ1999 የመጀመሪያውን ክፍላቸውን እንደገና እይው። ሁለቱን ሽማግሌዎች የሚያከብራቸው ማነው? ስፖንጅቦብ ነው። መጦሪያው ድረስ ሄዶ ተመለሱ ብሎ የሚለምናቸው እሱ ነው። እነሱ ሲቆጡት እንኳ ዓይኑ ከነሱ ላይ አይነሳም። ልጅ ደግሞ ራሱን የሚያየው በስፖንጅቦብ ውስጥ ነው። ስለዚህ ልጅሽ ሲስቅ የሚወዳቸውን ሰዎች እያየ ነው የሚስቀው። እኛስ የሚወደዱ አያቶቻችን ሲረሱ ቤተሰቡ ሁሉ አይስቅም? ንቀት የሚባለው ፍቅሩ ሲወጣበት ነው።

የምፈራውን ደግሞ ልንገራችሁ። እኛም ሀገር ካርቱን እየተሠራ ነው፣ ወደ አማርኛ የሚመለስም አለ። ወላጅ ይቆጣል ተብሎ ምፀቱ ሁሉ ከወጣ የሚቀረው ጩኸቱ፣ መውደቁና መጋጨቱ ነው። መምህርት የጠቀሱት ጥናት የሚያሳስበውም ይኸው ክፍሉ ነው፣ ቀልዱ አይደለም። ደህናውን አውጥተን መጥፎውን እንዳናስቀር።

አባት፣ ዱባይ

እንግዲያው የምትሠሩት እናንተ ናችሁና ዕድሜውን በአማርኛ፣ በትልቁ፣ መጀመሪያው ላይ ጻፉት። ልጅ ሳይሆን ወላጅ እንዲያነበው። ምን ዓይነት ነገር እንዳለበትም በአንድ መስመር ይነገረን። የውስጥ ልብስ ስርቆት አለበት ብትሉኝ እኔ ራሴ እወስናለሁ። 15 ዓመት ቆይቶ ይነገረኝ አልልም።

እናት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

እኔ በዚህ እስማማለሁ። የአድማውን ክፍል ቅዳሜ አብረን እናየዋለን፣ አባቱም መጋዘን ነው የሚሠራውና እሱም ይየው። የስድቡን ክፍል ግን 9 ዓመት እስኪሆነው አላሳየውም፣ መጨረሻው ቢያምርም። ካርሊንን የምታስታውሰው የ7 ቃላቱ መስመር አሁንም ትከነክነኛለች። መምህርት፣ ያ የጠጠር ጨዋታ አሁንም ካለ፣ ጠጠር ያላመጣውን ልጅ ምን እንደሚሉት ቢጽፉልን ደስ ይለኛል።

መምህርት፣ ኬጂ

ጨዋታው አለ። እኔ አልከለከልኩትም፣ ክራብስ የሚሆነውን ልጅ ግን በየቀኑ አቀያይራለሁ። ጠጠር አጥቶ የወጣው ልጅ በማግስቱ ክራብስ ይሆናል። አንዳንዱ ያን ጊዜ ይበቀላል፣ አንዳንዱ ደግሞ ማንንም ሳያስወጣ ይውላል። ለምን አላስወጣህም ብዬ ስጠይቀው የሚሰጠኝን መልስ ማንኛውም ካርቱን ብቻውን አያስተምረውም፣ አኒሜተሩ ቢቆጣም ይቆጣ።