ክርክር፦ የሞሮኮ ልጅ ማንበብ በዳሪጃ ይጀምር ወይስ በፉስሓ?

ፊደል ቆጣሪ፦
ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ። በ2013 መጨረሻ ሞሮኮ ውስጥ ኑረዲን ዓዩሽ የተባለ የማስታወቂያ ባለሙያ፣ ሕፃናት ትምህርት ሲጀምሩ በመጽሐፉ ዓረብኛ በፉስሓ ሳይሆን ቤታቸው በሚናገረው ዓረብኛ፣ በዳሪጃ ይማሩ የሚል ሐሳብ ይዞ ተነሣ። የታሪክ ምሁሩ ዓብደላህ አል-ዓርዊ በቴሌቪዥን ፊት ለፊት ተቀምጦ ሞገተው። በ2018 ደግሞ በአንድ የአንደኛ ደረጃ መማሪያ መጽሐፍ «ባግሪር» የምትል የዳሪጃ ቃል ታትማ ተገኘችና ክርክሩ እንደ አዲስ ነደደ። ባግሪር ከሰሞሊና የሚጋገር፣ እንደ እንጀራችን ዓይን ያለው ስስ ቂጣ ነው። ሚኒስቴሩ የምግብ ስም ስለሆነ ነው አለ፤ ብዙ ሰው ግን ዳሪጃ በመጽሐፍ በኩል ሾልኮ ገባ ብሎ ተቆጣ።

እኔ ከዓዩሽ ወገን ነኝ። አማርኛ የሚናገር ልጅ «ቤት» የሚለውን ሲያነብ አዲስ የሚሆንበት ፊደሉ ብቻ ነው፤ ቃሉን ያውቀዋል። የካዛብላንካ ልጅ ግን ፊደሉንም፣ ቃሉንም፣ የዓረፍተ ነገሩን አሰካክም በአንድ ጊዜ ይሸከማል። «አልጻፍኩም» ለማለት እናቱ «ማ ክተብትሽ» ትላለች፤ መጽሐፉ «ለም አክቱብ» ይለዋል። ከክ-ት-ብ በቀር የሚያገናኛቸው የለም። እኛስ ግዕዝን ለቅኔና ለቅዳሴ ትተን በአማርኛ ስንማር ምን ጎደለብን?

ነሕው መምህር፦
ከመጨረሻው ልነሣ። አማርኛ የግዕዝ ልጅ አይደለም፣ ዘመዱ ነው፤ ስለዚህ ንጽጽሩ ከመነሻው ይሳሳል። አማርኛ ለመማሪያነት የበቃውም የዐፄ ቴዎድሮስ ዜና መዋዕል በአማርኛ ከተጻፈ ወዲህ ቤተ መንግሥቱ፣ ማተሚያ ቤቱና ጋዜጣው ለአሥርት ዓመታት ሲገሩት ኖረው ነው። ዳሪጃን እስካሁን ማን ገራው?

በተግባር እንየው። «አለ» ለማለት አንዱ ከተማ «ቃል»፣ ሌላው «ጋል» ይላል፤ የድሮዎቹ የፌዝ ሰዎች ደግሞ ቃፉን ውጠው «አል» ይሉታል። መጽሐፉ የቱን ያትም? የ«ማ ክተብትሽ» «ሽ»ስ ከግሱ ጋር ትጣበቅ ወይስ ለብቻዋ ትቁም? ይህን ሳይወስን መጽሐፍ የሚያሳትም አገር ልጁን ሁለት ጊዜ ፊደል ያስቆጥረዋል። አማዚግኛ፣ ከዓረብኛ ሌላ የሆነውን ነባሩን የበርበር ቋንቋ፣ እየተናገረ ያደገው የአትላስ ተራራ ልጅም አለ። የ2011 ሕገ መንግሥት ቋንቋውን የመንግሥት ቋንቋ አድርጎለታል። ለእሱ ዳሪጃም የሰው ቤት ቋንቋ ነው።

ሰዉ የሚቆጣው በባዶ ሜዳ አይደለም። በ1893 ካይሮ ላይ ዊሊያም ዊልኮክስ የተባለ እንግሊዛዊ የመስኖ መሐንዲስ፣ ግብፃውያን የፈጠራ ኃይል ያጡት በፉስሓ ስለሚጽፉ ነው ብሎ ንግግር አደረገ። በ1901 ዳኛው ሴልደን ዊልሞር የካይሮ አነጋገር በላቲን ፊደል ይጻፍ አለ። ሁለቱም የተናገሩት እንግሊዝ አገሪቱን በያዘችበት ዘመን ነው። ሞሮኮ ውስጥ ደግሞ የ2019 ሕግ ሳይንስን በፈረንሳይኛ ለማስተማር በሩን ከፍቷል። ፉስሓ በለቀቀው ወንበር ላይ የሚቀመጠው ዳሪጃ እንዳይመስልህ፤ ፈረንሳይኛ ነው።

የንባብ አስተማሪ፦
ሁለታችሁም ስለ አገር ስታወሩ ልጁ ወንበሩ ላይ ተረሳ። የሚሰናከልበትን ቦታ በጣት ላሳያችሁ።

አንደኛ፣ ግስ። በሞሮኮ ዳሪጃ «ነክተብ» ማለት «እጽፋለሁ» ነው፤ «እንጽፋለን» ደግሞ «ነክትቡ»። በፉስሓ «አክቱቡ» እኔ፣ «ነክቱቡ» እኛ። እዩት፦ ልጁ «እኔ» ብሎ የሚያውቃት «ነ» መጽሐፉ ላይ «እኛ» ሆና ትጠብቀዋለች። ጨርሶ የማያውቃት ብትሆን ይሻለው ነበር፤ የሚያውቃት ስለሚመስለው ተሳስቶም አይጠራጠርም። መምህሩ «ተሳስተሃል» ብሎ ካለፈ ስሕተቱ ዓመቱን ሙሉ ይመላለሳል። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ሰሌዳ ላይ ጽፎ «በቤታችን እንዲህ፣ በመጽሐፍ እንዲህ» ካለ ግን ልጁ ምክንያቱን ያያል።

ሁለተኛ፣ ቁጥር። በፉስሓ ከ3 እስከ 10 ቁጥሩ የሚቆጠረውን ጾታ ገልብጦ ይይዛል፦ ተባዕት ለሆነው መጽሐፍ «ሰላሰቱ ኩቱቢን»፣ ለሴቶች ልጆች «ሰላሱ በናቲን»። ከ11 ጀምሮ ስሙ ወደ ነጠላ ይመለስና መጨረሻው ይለወጣል፤ 20 መጽሐፍ «ዒሽሩነ ኪታበን» ነው። ቤት ውስጥ «ዕሽሪን ክታብ» ብሎ ያልፈዋል። ስለዚህ የሁለተኛ ክፍል ሒሳብ መምህር ልጁ መደመር ያቃተው ሲመስለው፣ ያቃተው ጥያቄውን ማንበብ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛ፣ አናባቢ። ኸሊል ኢብን አሕመድ በ8ኛው መቶ ዘመን መልክ ያስያዛቸው የሐረካ ምልክቶች ካልተጻፉ፣ ካፍ-ታ-ባ የሚለው «ከተበ» (ጻፈ)፣ «ኩቲበ» (ተጻፈ)፣ «ኩቱብ» (መጻሕፍት)፣ ታው ሲጠብቅ ደግሞ «አስጻፈ» ሊሆን ይችላል። የእኛ ፊደል አናባቢውን ይዞ ስለሚመጣ ይህ ጣጣ የለብንም፤ ግን ማጥበቅ ስለማያሳይ «አለ» የሚለውን «ተናገረ» ነው ወይስ «ይኖራል» ብለን ከዓረፍተ ነገሩ ነው የምንፈታው። የዓረብ ልጅ ምልክቱ ከወረደ በኋላ በየመስመሩ እንዲህ ይፈታል። የሚፈታው ደግሞ ቃሉን አስቀድሞ ካወቀው ነው። ቤቱ የማያውቀውን ቃል በምን ይፍታው?

የድሮ ጽሑፍ፦
ሁለቱም ወገን ሳይመረምር የተቀበለውን አንድ ሐሳብ ላንሣ፦ ፉስሓ እናት ነው፣ የአገር ቤቱ ዓረብኛ የተበላሸ ልጇ ነው የሚለውን። ድንጋዮቹ ይህን አይሉም። ከእስልምና በፊት በሶርያና በዮርዳኖስ በረሃ በሳፋይትኛ ፊደል የተጫሩት ጽሑፎች ዓረብኛ አንድ መልክ እንዳልነበረው ያሳያሉ፤ «አል» በሚባለው መስተአምር ፋንታ አብዛኛውን ጊዜ «ሀ» ይጠቀማሉ። የነማራው ጽሑፍ የ328 ነው፤ ቋንቋው ዓረብኛ ሆኖ የተጻፈው በነበጢ ፊደል ነው። የነሕው፣ ማለትም የዓረብኛ ሰዋስው፣ ሊቅ ሲበወይህ ደግሞ የኖረው ከዚያ ከ400 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ከብዙ አነጋገሮች አንዱን መርጦና ገርቶ ሥርዓት አበጀለት እንጂ ሌሎቹ ከእሱ ሥርዓት አልተወለዱም።

ቪየና የተቀመጠች አንዲት ፓፒረስ አለች፤ የተጻፈችው በሂጅራ 22፣ ማለትም በ643 ነው። ግብፅ ውስጥ፣ ኢህናስ ላይ፣ ለሠራዊት የተወሰዱ 65 በጎች ደረሰኝ ናት፤ ከላይ በግሪክኛ፣ ከታች በዓረብኛ። በአንዳንድ ፊደሎች ላይ ነጥብ አለባት፤ ነጥብ ከዚያ ዘግይቶ ነው የመጣው ለሚሉት መልስ ትሰጣለች። አስረካቢውን ስትጠራ «ኢብን አቡ ቂር» ትላለች። የትምህርት ቤቱ ሕግ ከ«ኢብን» በኋላ «አቢ» ይፈልጋል። ሲበወይህ ሳይወለድ፣ ጸሐፊው እንደ ዛሬው የካይሮ ሰው «አቡ» ብሎ ጻፈ።

ነሕው መምህር፦
ደረሰኟን አውቃታለሁ፤ በአንድ ስም ግን ሙግት አይቋጭም። «አቡ እገሌ» እንደ አንድ ቃል የደረቀ መጠሪያ ሲሆን በየአገባቡ ሳይለወጥ መጻፉ የታወቀ ነው፤ ያውም እዚህ የግብፅ ክርስቲያን ስም ነው። ያችው ደረሰኝ ዝቅ ብላ «ኸምሲነ ሻተን» ስትል መጨረሻው ሕጉ እንደሚፈልገው ነው፤ ተሳቢ ስለሆነ «ኸምሱነ» አላለችም።

የድሮ ጽሑፍ፦
ስለ ስሙ ያልከውን እቀበላለሁ፣ ተገቢ ነው። «ኸምሲን» ግን አይረዳህም፤ ዛሬ በየአገሩ አነጋገር 50 ምንጊዜም «ኸምሲን» ነው፣ «ኸምሱን» የሚል የለም። ሁለታችንም የምንጠብቀው ቅርጽ አንድ ስለሆነ ለማናችንም አይመሰክርም።

በባግሪር ተቆጥቶ ባዕድ ቃል ቋንቋውን ይበክላል ለሚለው ደግሞ፣ ራሱን ፉስሓን ጠይቁት። «ሚንበር» የኛው «መንበር» ነው፣ «ሐዋሪዩን» የኛው «ሐዋርያ»፤ ከግዕዝ የሄዱ መሆናቸውን አብዛኞቹ ሊቃውንት ይስማሙበታል። ሱዩጢም በ15ኛው መቶ ዘመን በቁርኣን ውስጥ ያሉ ከውጭ የመጡ ቃላትን ሲለቅም የሐበሻዎቹን ለይቶ ቆጥሯል። እነዚህን ያስተናገደ ቋንቋ በባግሪር አይፈርስም።

አስተርጓሚ፦
«እፈልጋለሁ» የሚለውን ብቻ ልቁጠርላችሁ። ፉስሓ «ኡሪዱ»፣ ካይሮ «ዓይዝ»፣ ቤሩት «ቢዲ»፣ ጂዳ «አብጋ»፣ ካዛብላንካ «ብጊት»። መድረሳ ተምራ «ኡሪዱ» ብቻ ይዛ ጂዳ የምትገባ እህታችን የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚከብዷት ለዚህ ነው፤ ቤሩት ስምንት ዓመት የሠራች ደግሞ አፏ እንደ ውኃ እየፈሰሰ የሥራ ውሏን ማንበብ ያቅታታል። ሁለቱ ዕውቀቶች አንዱ ሌላውን አይተኩም። ፊደል ቆጣሪ፣ ዳሪጃ ብቻ የተማረ ልጅ ከአልጄሪያ ወዲያ ያለውን ጋዜጣ አያነብም፤ ይህን አቅልለህ አትለፈው።

ግን ነሕው መምህርም ልብ ይበሉልኝ። ችግሩ ልጁ ፉስሓን ሳይሰማ እንዲያነብ መጠየቁ ነው። በ1979 ኩዌት ላይ የተጀመረው «ኢፍተሕ ያ ሲምሲም» የተባለው የሕፃናት ፕሮግራም ከሞላ ጎደል በቀላል ፉስሓ ነበር፣ ልጆችም ከአገር አገር ተከታትለውታል። ዲና ፌይተልሰንና ባልደረቦቿ በ1993 ባሳተሙት ጥናት፣ እስራኤል ውስጥ ያሉ ዓረብ የመዋዕለ ሕፃናት ልጆች በፉስሓ ታሪክ እየተነበበላቸው ሲቆዩ የመረዳት ችሎታቸው ካልተነበበላቸው ልቆ ተገኝቷል። ጆሮ ይቅደም፣ ዓይን ይከተል።

ፊደል ቆጣሪ፦
እሺ፣ የጋዜጣውን ነገር እቀበላለሁ፤ ዳሪጃ ፉስሓን ይተካ የሚለውን አላነሣም። ማልታ ተክታለች፤ ከሲሲሊ ዓረብኛ የወጣው ቋንቋዋ በ30 የላቲን ፊደል ይጻፋል፣ በ1934 የመንግሥት ቋንቋ ሆኗል፣ ከ2004 ጀምሮ የአውሮፓ ኅብረት ቋንቋ ነው። ግን ማልታ ደሴት ናት፣ ሃይማኖቷም መጽሐፏም ሌላ ነው። ሞሮኮ እንዲህ ትሁን አልልም።

ስለዚህ እንዲህ ይሁን፦ መዋዕለ ሕፃናት ላይ በየቀኑ ሩብ ሰዓት የፉስሓ ታሪክ ይነበብ፣ መምህሯ በዳሪጃ ታስረዳ። አንደኛ ክፍል በጋራ ቃላት ይጀመር፤ «ባብ» በር፣ «ዳር» ቤት፣ «ራስ» ራስ፣ ሁለቱም ጋ አሉ። ቀጥሎ አናባቢው ብቻ የሚለያያቸው ይምጡ፣ ቤት «ክተብ»፣ መጽሐፍ «ከተበ»። በቤት የሌሉት፣ ምላስ በጥርስ መካከል ሆኖ የሚባሉት ድምፆች፣ «ሳእ»ና «ዛል»፣ ከዚያ በኋላ። ኢዕራብ፣ የቃል መጨረሻ እንደ አገባቡ የሚለዋወጥበት ሥርዓት፣ አራተኛ ክፍል ይቆይ።

የንባብ አስተማሪ፦
የድምፁ ቅደም ተከተል ልክ ነው። ኤሊኖር ሳይግ-ሐዳድ ደጋግማ ያሳየችው ይህንኑ ነው፤ ልጆች በአነጋገራቸው የሌለን ድምፅ ከቃል ውስጥ ለይቶ ማውጣት ይከብዳቸዋል። ሩብ ሰዓቱን ግን ለመምህሯ ፈቃድ አትተወው፤ በፕሮግራሙ ላይ ካልሰፈረ በወሩ በሥዕል ክፍለ ጊዜ ይበላል።

ነሕው መምህር፦
ማስረዳቱ በዳሪጃ ይሁን በሚለው አልጣላችሁም። የፌዙ ሰው ኢብን አጁሩም በ1323 ሞተ፤ የጻፋት ትንሿ የነሕው መጽሐፍ ወሎ ድረስ ደርሳ ሸኾቹ ዓረብኛውን እያነበቡ በአማርኛ ይፈቷታል። በተማሪው አፍ ማስረዳት አዲስ ነገር አይደለም፣ የቆየ የማስተማር ሥርዓት ነው።

ኢዕራብን ግን አራተኛ ክፍል ድረስ አላስቆይም። ልጁ ሦስት ዓመት ሙሉ ሁሉንም ቃል በሱኩን፣ ያለ መጨረሻ አናባቢ፣ ቆርጦ ማንበብ ከለመደ፣ በአራተኛው ዓመት «ኡ» «አ» «ኢ» ስትጨምርበት እንደ ጌጥ ያያቸዋል፤ ማን አድራጊ፣ ማን ተደራጊ እንደሆነ የሚናገሩ መሆናቸው አይገባውም። መካከለኛ መንገድ አለ፣ ወቅፍ ይባላል። ፉስሓ ራሱ አንባቢ ሲያርፍ የመጨረሻውን አናባቢ ይጥላል። ስለዚህ አንደኛ ክፍል ዓረፍተ ነገሩ ሁለት ሁለት ቃል ብቻ ይኑረው፦ የመጀመሪያው ቃል ከነመጨረሻው ይነበብ፣ ሁለተኛው በወቅፍ ይቆረጥ። ልጁ በየመስመሩ አንድ መጨረሻ ብቻ ይሸከማል። ሁለተኛ ክፍል ሦስት ቃል ይሁን።

የንባብ አስተማሪ፦
ይህን እወስዳለሁ፤ አራተኛ ክፍል ይቆይ ከሚለው ይሻላል። በባግሪር እንሞክረው። ባ፣ ገይን፣ ራ፣ ያ፣ ራ፤ አምስቱም ድምፅ በልጁ አፍ አለ፣ ገይንንም ያለ ጭንቀት ያስተምራል።

ነሕው መምህር፦
መጽሐፉ ውስጥ ትቆይ እንግዲህ፤ ግን የመጨረሻውን የ«ኡ» ምልክት፣ ደማን፣ ትልበስ፦ «አል-በግሪሩ ለዚዝ»፣ ባግሪሩ ጣፋጭ ነው።

የንባብ አስተማሪ፦
«ለዚዝ» ላይ ሁለት ዛል አለ። ልጆቹ ቤታቸው «ልዲድ» ነው የሚሉት። ዛል እስኪደርስ ድረስ «አል-በግሪሩ ሁና» እንበል፤ ባግሪሩ እዚህ አለ።